የሐሙስ ቃር

መጀመሪያ ያየሁት ጀርባውን ነው። በምሠራበት መድኃኒት ቤት የኢንሱሊኑ ፍሪጅ ማቀዝቀዝ አቁሞ፣ እሱ ከኋላው ተንበርክኮ ሞተሩን ይፈታ ነበር። ሰፈሩ «በረዶ» ይለዋል። የተበላሸ ፍሪጅ ሁሉ በእሱ እጅ ነው የሚያልፈው።

ሲጨርስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«ለቃር የሚሆን ነገር አለሽ?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያቃጥልዎት?»

«አንቺን ካየሁ ጀምሮ» አለና ሳቀ።

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት እትዬ ከመነጽራቸው በላይ አዩን። «ልጄ፣ ይሄ ቃር በክኒን የሚለቅ አይመስለኝም» አሉ።

አንድ ፓኬት ሰጠሁት። እንደ ልማዴ ላዩ ላይ «በቀን አንድ፣ ከምግብ በፊት» ብዬ ጻፍኩበት።

በሳምንቱ፣ ሐሙስ ቀን፣ ተመልሶ መጣ። «አለቀብኝ» አለ። በሚቀጥለውም ሐሙስ መጣ። እትዬ ገና ከበር ሲያዩት «የሐሙሱ ቃር መጣልሽ» ይሉኛል። እኔም ሐሙስ ሐሙስ ጋውኔን ተኩሼ መልበስ ጀመርኩ።

ሌላ ሰው ለሦስተኛ ጊዜ ቢመጣ «ሐኪም ይይዎት» እለው ነበር፤ ሥራዬ ነው። ለእሱ ግን አላልኩም። ቃሩ ሰበብ መሰለኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ሰበብ እንዲሆን ፈልጌ ነበር።

እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ሞላ። «እርስዎ» ማለቴ ቀርቶ «አንተ» አልኩት። ልንጋባ ተስማማን።

አንድ ቀን እህቱ ቤት ምሳ ስንበላ ዳቦው ደረቱ ላይ ቆመበት። ውሃ ቢጠጣበትም አልወርድ አለ። ፊቱ ጠቆረ። በመከራ ካለፈለት በኋላ እህቱ ወደ እኔ ዞረች።

«ይሄን ያህል ጊዜ ቃር ሲያሠቃየው፣ አንቺ መድኃኒት ቤት እየሠራሽ...»

አልጨረሰችውም። ብትጨርሰው ይሻለኝ ነበር።

ሐኪሙ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፉ አስገብቶ አየው። የምግብ ቧንቧው ታችኛው ጫፍ ለዓመታት በአሲድ ሲቃጠል ኖሮ ሥጋው ተለውጧል። አንድ ቦታ ላይ ካንሰር ጀምሯል፤ ገና ላይ ላዩን ነው።

«በፈሳሽ ናይትሮጅን እናቀዘቅዘዋለን» አለን ሐኪሙ። «በቱቦው በኩል እንረጨዋለን። የታመመው ይሞትና ይረግፋል፣ ጤነኛ ይተካል። ግን አንዴ አይበቃም፤ በየሁለት ወሩ ይደገማል።»

«ስንት ዲግሪ ነው?» አለ በረዶ።

«ከዜሮ በታች ሁለት መቶ ገደማ።»

ወደ እኔ ዞረ። «እኔ እኮ ከሃያ አልፌ አላውቅም። ባለሙያ ማለት ይሄ ነው።»

ባስገቡት ቁጥር ኮሪደሩ ላይ እቀመጣለሁ። የሰው መድኃኒት ሲመዝን የሚውለው እጄ ጭኔ ላይ ተጋድሞ በሩን አያለሁ። ሲወጣ ደረቱን ይዞ ነው። ለቀናት ቀዝቃዛ ሾርባ በማንኪያ አጎርሰዋለሁ። ከሁለተኛው በኋላ ሐኪሙ «እየጠፋ ነው» አለን። የሠርጋችንን ቀን ቆረጥን።

ለሦስተኛው ሲገባ ከሥሩ ናሙና ወሰዱ፤ ሆዱንም በማሽን አነሱት። ከላይ ያማረ አዲስ ሥጋ በቅሏል፤ በሽታው ግን ከሥሩ ወርዶ ጉበቱ ደርሷል። በማቀዝቀዝም ሆነ በቀዶ ጥገና የሚደረግ ነገር አልነበረም።

«ቀደም ብሎ ታይቶ ቢሆን...» አለ ሐኪሙ።

የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ተቀመጥን።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ቃር አለኝ ስትለኝ ክኒን ሰጠሁህ» አልኩት። «ሂድና ታይ አላልኩህም። አሁን ባለቅስ ምን ዋጋ አለው... ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።»

እጄን ያዘ።

«ቃር አልነበረኝም» አለ።

«ምን?»

«ላይሽ ነበር የምመጣው። አንዷንም አልዋጥኩም። ውሻ ካልሽ አይቀር፣ ክኒንሽን የበላው ከምሠራበት አጠገብ ያለው ጋራዥ ውሻ ነው። እሱንም እስከ ዛሬ ቃር ነክቶት አያውቅም።»

እያለቀስኩ ሳቅኩ። አመንኩት። ካላመንኩት መኖር አልችልም ነበርና አመንኩት።

ሠርጉን ትተን በዚያው ሳምንት ተፈራርመን ተጋባን። ምስክሮቻችን እትዬና እህቱ ነበሩ። አራት ወር አብረን ኖርን። መጀመሪያ ዳቦ አቃተው፣ ቀጥሎ ሾርባ፣ በመጨረሻ ውሃ። እኔ ማንኪያ ይዤ አጠገቡ ነበርኩ። ሌላ ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ሌሊት ግን እተኛ ነበር፤ ያቺ የደረጃው ላይ ንግግሩ አስተኝታኛለች።

ከቀብሩ በኋላ እህቱ የመሣሪያ ሳጥኑን አመጣችልኝ። ከመፍቻዎቹ ሥር፣ በፍሪጅ ሽቦ ተጠፍንጎ፣ የካርቶን ጥቅል አገኘሁ። ፈታሁት። የቃር ክኒን ፓኬቶች ናቸው። ሁሉም ላይ የእኔ ጽሑፍ አለ፦ በቀን አንድ፣ ከምግብ በፊት።

አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ሁሉም ባዶ ናቸው። ክኒኖቹ አንድ በአንድ ተፈልቅቀው ወጥተዋል፤ ባዶው ማሸጊያ ተስተካክሎ ወደ ቦታው ተመልሷል። በእያንዳንዱ ጀርባ የዋጠባቸውን ቀኖች በእርሳስ ጽፏል።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች እህቱ።

«ያን ቀን ምሳ ላይ ልክ ነበርሽ» አልኳት።

ፓኬቶቹን አየች። ጽሑፌንም አየች። ከዚያ ሳጥኑን ቀስ ብላ ዘጋችውና አጠገቤ ተቀመጠች።