የሰባቱ ዘንጎች ደብተር

በሁለት ሺህ ዐሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ታኅሣሥ ሃያ ስድስት ቀን፣ ዕለቱ ጁምዓ፣ ጊዜው ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ነበር። ደረቁ የበጋ ነፋስ በሀርጌሳ ከተማ፣ በጋአን ሊባህ ሰፈር፣ ከአንዱ የቆርቆሮ አጥር ወደ ሌላው አቧራ ያመላልሳል፤ ከአየር ማረፊያው የተነሣ አንድ አውሮፕላን ከቤቶቹ በላይ ሲያልፍም ሻይ የሚጠጣው፣ ባጃጁን የሚያጥበው፣ ሱቁን የሚከፍተው ሁሉ አንገቱን አቅንቶ በዓይኑ ሸኘው፤ በሌላ ጊዜ ለአውሮፕላን ቀና የሚል ሰው በዚያ ሰፈር አልነበረም። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ባለፈው ሰኞ የኢትዮጵያና የሶማሊላንድ ሹማምንት አዲስ አበባ ላይ የባሕር ነገር ያለበት አንድ ሰነድ ተፈራርመዋል፤ ሞቃዲሾ ተቆጥታለች፤ በሀርጌሳም አንዱ ሲደሰት ሌላው ጥርሱን ነክሷል፤ ወሬውም ከሻይ ቤት ወደ ሻይ ቤት ሲሻገር በየደረሰበት አንድ ክንድ ይረዝማል።

በዚያች ሰዓት ልብስ ሰፊው ሙሰዓብ የግቢውን በር ከውስጥ ቀርቅሮ የገዛ እጁን ሥራ በመጋዝ ይቆርጥ ነበር።

ሙሰዓብ የወሎ ሰው ነው፤ ሐይቅ ዳር ተወልዶ፣ ዓሣ እያጠመደ አድጎ፣ ሀርጌሳ ከገባ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ቁመቱ አጭር፣ ጣቱ ረጅም፣ ቃሉም ቁጥብ ነው። ቀን ሱሪና ጀለቢያ ይሰፋል፤ እጁ ከሥራ ሲያርፍ ደግሞ እቤቱ ተቀምጦ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይሠራል፤ ሊሸጠው አይደለም፤ ሚስቱ ሪሀና እንደምትለው «ለዕብደቱ» ነው። ሀርጌሳ ባሕር የላትም፤ ባሕር ያለው በርበራ ነው፤ ከጎረቤቶቹም ዓሣ ከሚበላው የማይበላው ይበዛል፤ ሙሰዓብ ግን ይህን ሁሉ ከቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር።

አሠራሩም የራሱ ነበር። ከዱባይ በጭነት የሚመጣለትን ባዶ ዘንግ ጫፉን ይዞ ቀስ አድርጎ ያጎብጠዋል፤ በየት ጎኑ እንደሚጠነክር ጣቱ እስኪያውቀው ድረስ ያንከባልለዋል፤ ከዚያ ክሩ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች በሐር ፈትል እየጠመጠመ ያስራቸዋል፤ በፈትሉ ላይ ሙጫ ይቀባል፤ ሙጫው እስኪይዝም ዘንጉን በሁለት የእንጨት ባላዎች ላይ አጋድሞ አራት ሰዓት ሙሉ ያለማቋረጥ ያዞረዋል፤ ማዞሩ ከቆመ ሙጫው ወደ አንድ ጎን ይወርድና ተንጠልጥሎ ይደርቃል። ከሁሉ በፊት ግን የዘንጉን ባለቤት ይለካዋል፤ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ከክርን እስከ ጭብጥ፣ ከብብት እስከ ወገብ፣ ልክ ለሰርግ ኮት እንደሚለካ አድርጎ ይለካዋል። «ያልተለካ ዘንግ የውሰት ኮት ነው» ይል ነበር።

ልኩንም በደብተር ይጽፈዋል፤ ስሙን በአማርኛ ፊደል፣ መጠኑን በቁጥር። ስድስት የአገሩ ልጆችና አንድ የሀርጌሳ ተወላጅ፣ በድምሩ ሰባት ባልንጀሮች፣ ስማቸው እዚያ ነበረ፤ አብዛኞቹ የጠበበ የኪራይ ክፍል ስለነበራቸውም ሰባቱም ዘንጎች የሚሰቀሉት በእርሱ ቤት ግድግዳ ላይ ነበር። በደብተሩ ኋላ ደግሞ በርበራ በወረደ ቁጥር ከባድ የእርሳስ ድቡልቡል በገመድ አስሮ ወደ ባሕሩ እየጣለ ጥልቀቱን መዝግቧል፤ ለየቦታው ምን ያህል እርሳስ የሚሸከም ዘንግ እንደሚስማማው ለማወቅ ነው። ይህን ደብተር ከሰነዱ መፈረም በፊት በነበረው ጁምዓ ከበርበራ ሲመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጣለው። ሲጥለው ደብተር ነበር፤ ሰኞ ወሬው ሲሰማ ሌላ ነገር ሆነ። የባሕሩን ጥልቀት በሜትር የለካ ኢትዮጵያዊ፤ ከጎኑ የሰባት ሰዎች ስም፤ ከስማቸው ጎን ቁጥር። ሙሰዓብ ነገሩን በሌላ ሰው ዓይን ባየው ቁጥር ራሱን ማመን እያቃተው ሄደ።

ከማክሰኞ ጀምሮ ስልኩን ዘጋ፤ እህል በአፉ አልዞር አለ። የመኖሪያ ፈቃዱ የሚታደስበት ወር ተቃርቧል፤ ከዚህች ከተማ ቢያወጡት ዐሥራ አንድ ዓመት ያቆመው ቤት በአንድ ቀን ይፈርሳል፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ እስር ነው፤ ይህን እያሰበ በር በተንኳኳ ቁጥር የስፌት መኪናውን አቁሞ ያደምጥ ነበር። ሪሀና በዚያ ጠዋት ኮድቡር ሰፈር ወደምትሠራበት ቤት ልትወጣ ሻሿን እያሰረች መከረችው።

«ሄደህ ለምን አትጠይቅም? ሚኒባሱን ታውቀው የለ?»

«ሄጄ የኔ ነው ልበል? በገዛ እግሬ?»

«ያላደረግከው ነገር ምን ያስፈራሃል፣ አንተ ሰውዬ?»

«ሪሁ፣ ያደረገ ሰውማ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል» አላት።

እርስዋ እንደወጣች መጋዙን አነሣ። ስድስቱን ዘንጎች አንድ በአንድ ከግድግዳው አውርዶ፣ ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ በየስንዝሩ ቆራረጣቸው፤ ሰማያዊና ቀይ የሐር ፈትል የተጠመጠመባቸው ቁርጥራጮች በእግሩ ሥር ተከመሩ። ሰባተኛውን ሊያወርድ ሲል በጓሮ በር ሳማታር ገባ።

ሳማታር ከስሙ ዝርዝር ሰባተኛው ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚያረቅ የመንግሥት ጸሐፊ ሲሆን፣ ልጅነቱን ያሳለፈውና የተማረው ሀዋሳ ስለሆነ አማርኛው ከብዙ አማራ ይልቅ የጠራ ነበር። ሁለቱን ያገናኛቸውም የሐይቅ ዳር ልጅነት ነው። ቁርጥራጩን አይቶ ደነገጠ።

«ያ አላህ! ጋሽ ሙሰዓብ፣ ምን ነካዎት?»

«ደብተሬ ጠፍቷል፤ ፖሊሶች መጥተው ይህን ከሚያዩት አላህ ይየው ብዬ ነው።»

«የኔን ይተዉልኝ፤ የቀረው ሙጫ መቀባት ብቻ አይደል? አሁኑኑ እንቀባው። እጅዎ ሥራ ሲይዝ ልብዎ ይረጋል፤ እኔ አዞርልዎታለሁ» አለና መጋዙን ከእጁ ቀስ አድርጎ ተቀበለው።

ሙጫውን ቀላቅለው ቀቡ፤ ዘንጉንም ከመጋረጃ በስተጀርባ ባለችው ጓዳ በባላዎቹ ላይ አጋደሙት። ሳማታር በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ማዞር ጀመረ።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «እዚህ መምጣቴን ማንም አይስማ። በዚህ ሳምንት በቢሮአችን ሰው ሰውን እየሰለለ ነው። አምስት ልጆች አሉኝ፤ ያቺ ወንበር እንጀራዬ ናት።»

«አብሽር፣ አይዞህ፤ ይህን ለኔ ትነግረኛለህ?» አለው ሙሰዓብ፤ ይህንንም ያለው ከልቡ ነበር።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የግቢው በር ተንኳኳ።

የመጣው ዓብዲወሊ የሚባል የሰፈሩ ጥበቃ ሹም ነው፤ ጢሙን በሂና ያቀላ፣ እርምጃው የማይቸኩል አዛውንት። በብብቱ ደብተሩን ይዟል። ሙሰዓብ ደብተሩን ሲያይ ሰላምታውን እንዴት እንደመለሰ አላወቀውም። ሹሙ የስፌት መኪናው ጎን ካለው አግዳሚ ላይ ዐረፍ አለ፤ ከጓዳው ዘንጉ በባላው ላይ ሲዞር የሚያሰማው ቀጭን ድምፅ ይሰማል፤ ቅር፣ ቅር፣ ቅር።

«ያንተ ነው?» አለ ሹሙ በሶማሊኛ ደብተሩን ከፍ አድርጎ።

«አዎን፣ ጌታዬ።»

ሹሙ ከእግሩ ሥር አንድ ቁራጭ አንሥቶ አገላበጠ። «ይህስ ምን ነበር?»

«የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ።»

«ማን ቆረጠው?»

«እኔ።»

«እንዲህ ያማረውን? ለምን?»

ሙሰዓብ ቁርጥራጩን አየ። ንጹሕ መሆኑን የሚመሰክሩለት ስድስት ምስክሮች ነበሩት፤ ስድስቱንም በገዛ መጋዙ አርዷቸዋል። ሹሙ ግን ጥያቄውን ያቀረበው ቁራጩ እግሩ ሥር ስለወደቀ እንጂ ለሌላ አልነበረም፤ መልስም ሳይጠብቅ ደብተሩን ከፍቶ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ።

«እነዚህ ቁጥሮች ምንድን ናቸው፣ ዋላል?»

ዋላል ማለት ወንድሜ ማለት ነው፤ የሚያስፈራ ቃል አይደለም። መልሱም ሁለት ቃል ነበር፤ የክንድ ልክ። ነገር ግን የሙሰዓብ ዓይን ቁጥሩን አላየም፤ ከቁጥሩ ጎን ያለውን ስም አየ። ሰውየው ሁሉንም ያውቃል፣ ሊፈትነኝ ነው የመጣው፣ ቀድሜ ከተናገርኩ እተርፋለሁ አለ በልቡ፤ ምላሱም ልቡን ሳይጠብቅ ሄደ።

«ኢዘዲን» አለ፤ «ዳቦ ቤት ነው የሚሠራው። ቀጥሎ ፉዓድ፤ ሾፌር ነው። ሙሐመድአወል፤ ወረቀት የለውም፣ ከአየር ማረፊያው ማዶ ነው የሚያድረው።» እንዲህ እያለ ስድስቱን ከነአድራሻቸው አነበበ፤ ሹሙም ቅንድቡን አንሥቶ ዝም ብሎ ያየው ነበር፤ ያ ዝምታ ሙሰዓብን ይበልጥ ገፋው። ሰባተኛው ስም ላይ ሲደርስ ቆም አለ። ከጓዳው ቅር፣ ቅር፣ ቅር ይላል።

«ሰባተኛውስ?» የሚል ሰው አልነበረም። ራሱ ነው የቀጠለው።

«ሳማታር። ያንተው አገር ሰው ነው፤ የመንግሥት ጸሐፊ ነው። ባሕሩን ስለካም አብሮኝ ነበር፤ የተማረ ሰው ነው፣ እርሱ ያውቃል፤ እርሱን ጠይቁት።»

ከመጋረጃው በስተጀርባ ያለው ድምፅ ቆመ።

ሹሙ ደብተሩን ዘግቶ ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ የጠየቅሁህ ቁጥሩን ነው፤ ስም ማን ጠየቀህ? ይህን ፊደል እኔ አላነብም፤ የሚያነብልኝም አልፈለግሁም። ሾፌሩ ከወንበር ሥር አግኝቶ ሰጠኝ፤ ሽፋኑ ላይ የስልክ ቁጥር ነበር፣ ብደውል ዝግ ሆነብኝ፤ ልብስ ሰፊው መሆንህን ሰው ነገረኝና ወደ ጁምዓ ስሄድ ላደርስልህ መጣሁ። ቁጥሩ የሱሪ ልክ መስሎኝ ልቀልድብህ ነበር።» ደብተሩን በስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠው። በር ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ «ይህ ወሬ እስኪበርድ ባሕሩን አትለካ፤ ሰው ሁሉን ይጠረጥራል» አለና ሄደ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይላሉ አበው። ሙሰዓብ ባለበት ቆሞ ቀረ፤ ከመታሰር ተርፏል፤ ከመባረር ተርፏል፤ ደስታ ግን አልመጣለትም። መጋረጃው ተገለጠና ሳማታር ወጣ፤ ጣቶቹ ሙጫ ናቸው፤ ጫማውን ጎንበስ ብሎ አሰረ።

«ወላሂ ፈርቼ ነው፣ ወንድሜ» አለ ሙሰዓብ።

«አውቃለሁ» አለ ሳማታር ቀና ሳይል፤ «እኔም ፈርቼ ነበር። በጓሮ በር መውጣት እችል ነበር፤ ሙጫው እንዳይወርድብዎ ብዬ አዞርሁ።»

ከዚህ ሌላ አልተናገረም። በመጣበት በር ወጣ።

ሙሰዓብ ሳምንት ጠበቀ፤ ወርም ጠበቀ። ሳማታርን ማንም አልጠራውም፤ ወንበሩንም ማንም አልነካበትም፤ ሹሙ ዓብዲወሊ የሰማውን ስም የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ሳይደርስ ረስቶታል። የሙሰዓብ ፈቃድ እንደወትሮው ታደሰ። ስድስቱ ባልንጀሮቹ ዘንጎቻቸው የት ገቡ ሲሉት ሌባ ወሰዳቸው አላቸው፤ ለሪሀናም የነገራት ደብተሩ መገኘቱን ብቻ ነው። ሳማታር ተጎድቶ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ልኮ፣ እግሩ ላይ ወድቆ፣ ጥፋቱን ተናዞ ይካስ ነበር፤ ጉዳት ያልደረሰበት ሰው ግን ምን ተብሎ ይካሳል? ይህ ነገር ከፍርሃቱ በላይ ከበደው።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ መባቻ፣ ለዒድ፣ ልቡን አጠንክሮ ኮድቡር ወደ ሳማታር ቤት ሄደ። ሳማታር በሩን በራሱ እጅ ከፈተለት፤ አስገባው፤ ከምንጣፉ ላይ የክብር ቦታ ሰጥቶ ተምርና ሐልዋ አቀረበለት፤ ስለ ጤናው፣ ስለ ሪሀና፣ ስለ ሥራው አንድ በአንድ ጠየቀው። ሁሉንም የጠየቀው በሶማሊኛ ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት በመካከላቸው ከአማርኛ በቀር ቋንቋ አልነበረም፤ ሙሰዓብ በአማርኛ ቢጀምርም በሶማሊኛ ተመለሰለት፤ ለባዕድ ሰው መልስ የሚሰጥበት ያ ረጋ ያለ፣ ጨዋ ሶማሊኛ። ሐልዋውን ሳይጨርስ ቶሎ ተነሣ፤ ከዚያም ወዲያ ዘንግ የሚባል ነገር አልሠራም።

ስለዚያ ወር የሚጽፉ ሰዎች ማን እንደፈረመ፣ ማን እንደተቃወመ፣ የትኛው አገር ምን መግለጫ እንዳወጣ ይጽፋሉ፤ መጻፋቸውም ተገቢ ነው፤ ታሪክ በትልልቅ ስሞች ትሄዳለችና። ነገር ግን በትልልቅ ሰነዶች ጥላ ሥር ማንም ሳይጠይቃቸው የወዳጅ ስም የሰጡ ትንንሽ ሰዎች ነበሩ፤ እነርሱ በየትም መዝገብ የሉም። በጋአን ሊባህ የሆነውን የሰሙት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ረስቶታል፤ ሁለቱ ደግሞ አይነጋገሩም።