የወይዘሪት ፍሬገነት ረቡዕ

«እትዬ ኤርጎጌ፣ አክስቴን ገደልኳት» አለች ፊቤ በስልክ።

ኤርጎጌ አልደነገጠችም። በዚያ የወረርሽኝ ዓመት፣ ጆሃንስበርግ በሐምሌ ብርድ ስትንቀጠቀጥ፣ መርዶ በየጠዋቱ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞር ነበር። ባሏን ኤሊያስን ከቀበረች ወዲህ ደግሞ ውስጧ ይደነግጥ የነበረው ነገር የት እንደገባ ራሷም አታውቅም። አላለቀሰችም። «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ሲሏት «እሺ» ትልና ወደ ሱቋ ተመልሳ ብርድ ልብሶቿን ታጥፋለች። በሽታውን ከገበያ ይዛ ቤት የገባችው እሷ ነበረች። እሷን በሳል አልፏት እሱን ወሰደው።

«በምን ገደልሻት?» አለች፣ የሽንኩርት ዋጋ እንደምትጠይቅ ሰው።

«በከሰል። ትናንት ጠዋት የከሰል ምድጃውን፣ ኢምባውላውን፣ መኝታዋ ውስጥ አስገባሁት። ማታ ስመለስ… ፖሊስም የከሰል ጭስ ነው አለ። ዛሬ ጣቢያ ሄጄ እጄን ልስጥ?»

«እኔ ሳልመጣ የትም እንዳትሄጂ።»

ኤርጎጌ አገር ቤት ሳለች ሆሳዕና ፖሊስ ውስጥ ወንጀል መርማሪ ነበረች። ብርድ ልብስ መሸጥ ከጀመረች ብዙ ጊዜ ቢሆናትም ሰው ዛሬም «ኢንስፔክተር» ይላታል። ማስኳን አጠለቀችና ኮዝሞ ሲቲ የሚወስደው ታክሲ ውስጥ ገባች።

ሟቿን መላው ኮዝሞ ሲቲ ያውቃታል። ፍሬገነት ከሆሳዕና መጥታ ሁለት ስፓዛ፣ የሰፈር ሱቅ፣ ያቆመች፣ አንዱን እዚህ፣ ሌላውን ዛንድስፕሩት፣ የሰፈሩን ሰው በዳቦና በዘይት ያኖረች ነጋዴ ነበረች። ሱቁም ፈቃዱም በስሟ ነው። አላገባችም፤ ላገባ ነውም አላለችም። «ወይዘሪት» ብለው ሊያሾፉባት የሞከሩ ወንዶች ነበሩ፤ ስሙን ወደደችውና ተቀበለችው። አንድ ጅምላ ሻጭ «ባልሽ የት ነው?» ቢላት «ምን ልትሸጥለት ነው?» አለችው ይባላል። የሟች እህቷን ልጅ ፊቤን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደገቻትም እሷ ናት።

ፊቤ ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ዓይኖቿ ደርቀዋል። ኤርጎጌ ያንን ድርቀት ከመስታወት ታውቀዋለች።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

«አክስቴ ሳል ይዟት ለብቻዋ ተኝታ ነበር፤ አይሶሌሽን። ጠዋት ከሰሉን ውጪ አቀጣጠልኩ፣ ጭሱ እስኪያልቅ ጠበቅሁ፣ አስገባሁላት። መስኮቱን ከፍቼ ነው የሄድኩት፣ አይ ስዌር። ክኒን ስሰጣት "ማታ" አለችኝ፤ ረቡዕ ስለሆነ። ማታ አብረን የምንበላው ሾርባ አዘዘችኝ። ካሮቱን ልጬ ድስት ውስጥ ትቼላት ሄድኩ።»

«ወዴት?»

«ዛንድስፕሩት። እዚያ ሱቁን የሚይዝልን ጋሽ ለገሠ ዕቃ ሊያመጣ ስለሚወጣ እኔ ልይዝለት። ስመለስ በሩ ተቆልፏል፤ ያው ገፋ ሲያደርጉት ራሱ የሚቆለፍ ነው። በቁልፌ ከፈትኩ። መስኮቱ ዝግ ነው። ከንፈሯ ቀልቶ… የተኛች ነበር የምትመስለው። መስኮቱን በረገድኩት፣ ግን…»

ኤርጎጌ ማባበል ከተወች ሰንብታለች፤ ትከሻዋን ነካ አድርጋት ወደ ክፍሉ ገባች።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አልጋ፣ የተዘጋ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ጠረጴዛ ላይ ግማሹ የተበላ ሽሮ ያለበት ምሳ ዕቃ። ምድጃው ላይ ያለው ድስት ውስጥ የተላጠው ካሮት እንዳለ ነው። ኢምባውላው፣ ዙሪያው የተበሳሳው የቆርቆሮ ምድጃ፣ ከአልጋው እግር አጠገብ ቆሟል። ኤርጎጌ ማንኪያ አንስታ አመዱን ቆፈረች። ከላይ ያለው ቀላ ያለ አመድ ነው፤ መካከሉ ላይ እንደ ቀለጠ ድንጋይ የተጣበቀ ቅሪት አለ። ነጩ፣ ደቃቁ አመድ ከሥር ነው። ቀጥላ አልጋውን ከግድግዳው ሳብ አደረገችው። መስኮቱ ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ እንደ ገመድ የተጠቀለለ ፌስታል ወድቋል። ፈታ ስታደርገው ጣቷ ጠቆረ።

«ፊቤ፣ ምን ዓይነት ከሰል ነው የምትጠቀሙት?»

«የእንጨት። የድንጋይ ከሰል ያፍናታል፤ እዚህ ግቢ አይገባም። እሱ የሚሸጠው ዛንድስፕሩት ነው፣ ጋሽ ለገሠ ሱቅ… አይ ሚን፣ የአክስቴ ሱቅ።»

ኤርጎጌ ፌስታሉን በሌላ ፌስታል ከተተችው።

ከመንገዱ ማዶ ሌላ ስፓዛ አለ። ባለቤቷ በለጥሽ የፍሬገነት ተፎካካሪም ወዳጅም ነበረች። በዳቦ ዋጋ ይጣላሉ፣ ቲማቲም ሲያልቅ ይበዳደራሉ። ኤርጎጌን ከብረት ፍርግርጉ በስተኋላ ሆና አናገረቻት።

«ትናንት ማን መጣ?»

«ለገሠ። እኩለ ቀን ላይ ባኪውን፣ ያችን ፒክአፑን፣ በር ላይ አቁሞ፣ ምሳ ዕቃና ፌስታል አንጠልጥሎ ገባ። ማን እንደከፈተለት አላየሁም፤ ደንበኛ ይዞኝ ነበር። ሲወጣ ግን ባዶ እጁን ነው።»

«ከፍሬገነት ጋር እንዴት ነበሩ?»

በለጥሽ ዞር ዞር ብላ አየች። «ለጎረቤቱ ሁሉ እጮኛዬ ናት ይላል። አገር ቤትም አስወርቷል። እሷ ሰምታ ስትስቅ ነበር የከረመችው፤ በኋላ ግን መሳቁን ተወችው። እሁድ፣ ቤተ ክርስቲያን ከተዘጋ ወዲህ በስልክ በምናደርገው ጸሎት ላይ፣ የዛንድስፕሩትን ሱቅ ለፊቤ መስጠቷን ልትናገር ነበር። ለእሱም አስቀድማ ነግራዋለች። "ባለቤት ነኝ ማለቱ ይብቃው" አለችኝ።»

ለገሠ ከሰዓት በኋላ ከፍሬገነት ታላቅ ወንድም ከአቢሶ ጋር መጣ። አቢሶ ኦሬንጅ ፋርም ይነግዳል፤ ትናንት ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ ሲሸጥ እንደዋለ የማያውቅ ደንበኛ የለም። ለገሠ አዲስ አበባ ያደገ፣ ረጅም፣ ምላሱ የማያደናቅፈው ሰው ነው። ከእነፍሬገነት ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ የጀመረው እሷን ማሳደድ ሲጀምር ነው፤ እሱም እሁድ እሁድ ብቻ። ቤተ ክርስቲያኑ በሎክዳውን ሲዘጋ ያም ቀረ።

«ልጅቷን አትጫኗት፣ ኢንስፔክተር» አለ፣ ገና ከመግባቱ። «አውቃ ያደረገችው አይደለም። እኔ ይቅር ብያታለሁ።»

ፊቤ አንገቷን ደፋች። ይቅርታው ከስድብ ይልቅ ከበዳት።

«ትናንት መጥተህ ነበር?» አለችው ኤርጎጌ።

«እንዴት አልመጣ? እጮኛዬ አይደለችም እንዴ! ታማ ምሳ ሳትበላ ልትውል ነው? ሽሮ ይዤላት መጣሁ፤ ሎሚና ዝንጅብልም በፌስታል። ራሷ ከፈተችልኝ። ረቡዕ አይደል፣ ጾም መሆኗን መቼም አልረሳም፤ ቅቤ ጠብ አላደረግሁበትም።»

«በላች?»

«ግማሹን! "እጅህ ይባረክ" ብላኛለች።»

«ከሰሉስ?»

«ይነድ ነበር። "አውጪው" ብላት "ፊቤ ያስገባችውን ፊቤ ታውጣው" አለችኝ። የመጨረሻ ቃሏ እሱ ሆነ።» ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ።

ኤርጎጌ ሽሮውን በምን እንዳጣፈጠው ጠየቀችው። በነጭ ሽንኩርት ነው አላት። አመሰገነችውና አቢሶን ወደ ጎን ወሰደችው።

«ምን ልታደርጉ አስባችኋል?»

«ነገ ጠዋት እንቀብራታለን፤ በዚህ ጊዜ ሬሳ አያቆዩም። ልጅቷ ጣቢያ ሄዳ ቃሏን ትሰጣለች። ሱቆቹን ለገሠ ይይዛቸዋል፤ ሊያገባት ነበር። ሱቅ መቼም ወንድ ይፈልጋል።»

«እስከ ትናንት አልፈለገም» አለች ኤርጎጌ። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ትናንት ሬሳውን ላየው ፖሊስ ደወለች።

ግቢው ውስጥ ማስካቸውን እንዳጠለቁ፣ ተራርቀው፣ በሳጥኖች ላይ ተቀመጡ፤ አቢሶ፣ ለገሠ፣ በለጥሽና ፊቤ። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆመ። ኤርጎጌ ያለ ሳጥን ቀረች፤ ድሮም ቆማ ነው የምትናገረው።

«ለገሠ፣ ስለ ምሳው የነገርከኝን ለጋሽ አቢሶ ድገምለት። የእህቱን የመጨረሻ ቀን ማወቅ አለበት።»

ለገሠ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሽሮ ወሰድኩላት፣ ጋሼ። ደስ ብሏት ግማሹን በላች። መረቀችኝም።»

በለጥሽ እጇን ማስኳ ላይ ጫነች። አቢሶ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ምን በላች አልክ?»

«ሽሮ። የጾም።»

«በረቡዕ?»

«አዎ፤ ስለዚህ እኮ ነው ቅቤ…»

«እኛ ወንጌላውያን ዘንድ የጾም ምግብ የለም» አለ አቢሶ።

ለገሠ የሁሉንም ዓይን በየተራ አየ፤ ምን እንደተናገረ ገና አልገባውም ነበር።

«አንተ ባደግክበት የኦርቶዶክስ ቤት በጾም ቀን ሽሮ ይበላል፤ ምንም ነውር የለውም» አለች ኤርጎጌ። «ፍሬገነት ግን ረቡዕ ረቡዕ እስከ ማታ ውሃም አትቀምስም። አንተ እሁድ እንጂ ረቡዕ መጥተህ አታውቅም፤ ከየት ታውቀዋለህ?»

«ታማ ነበር! የታመመ ሰው ይበላል!»

«ፊቤ፣ ጠዋት ክኒኑን ምን አለችሽ?»

«"ማታ" አለችኝ።»

«ለክኒን ውሃ ያልጠጣች ሴት ለሽሮህ ጾሟን አትፈታም። ማታ የሚበላው ሾርባም ተልጦ እየጠበቃት ነበር። ስለዚህ ምሳው ውሸት ነው። ምሳው ውሸት ከሆነ ምርቃቱም፣ ስለ ፊቤ አለች ያልከውም ውሸት ነው። አልከፈተችልህም። የዛንድስፕሩቱ ሱቅ ውስጥ የዚህ በር መለዋወጫ ቁልፍ አለ አይደል፣ ፊቤ?»

«አዎ። ከካዝናው አጠገብ ተሰቅሎ።»

«በሱ ገባህ። ተኝታ አገኘሃት። ነቅታ ቢሆን ኖሮ እንደማትበላ ራሷ ትነግርህ ነበር፤ ዛሬም ይህን ስህተት አትሠራም ነበር። ሰው ሲገባ እንዳየህ ስላወቅህ ምክንያት ያስፈልግሃል። ግማሹን ሽሮ ራስህ በላኸው።»

«ከሰሉን ያስገባችው እሷ ናት!» ለገሠ ወደ ፊቤ ጠቆመ። «ራሷ አምናለች!»

«የእንጨት ከሰል አስገብታለች፤ መስኮት ከፍታ። የእሷ ነጭ አመድ ከሥር ነው። ከላይ ያለው ቀዩ አመድና ቅሪቱ የድንጋይ ከሰል ነው፤ ፊቤ ከሄደች በኋላ የተጨመረ። እዚህ ግቢ የማይገባ፣ አንተ ሱቅ የሚሸጥ።» የተጠቀለለውን ፌስታል ከፍ አደረገችው። «ሎሚና ዝንጅብል አልክ። ሎሚው ክፍሉ ውስጥ የለም። ፌስታልህ ግን አለ። መስኮቱን ዘግተህ ክፍተቱን ደፍነህበት ነበር፤ ፊቤ መስኮቱን ስትበረግደው ከአልጋው ኋላ ወደቀ። እስቲ እየው፤ ዝንጅብል እንዲህ ያጠቁራል?»

ለገሠ ሲናገር ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር።

«ሰው ሁሉ ባለቤቱ እኔ እንደሆንኩ ያውቃል። እሁድ ምን ብዬ ልቆም ነበር? አንድ ጊዜ እንኳ "የእኔና የለገሠ" ብትል ምን ይጎድልባት ነበር?»

ኤርጎጌ ለፖሊሱ በእንግሊዝኛ አስረዳችው፤ ፌስታሉንም ሰጠችው። ለገሠ ሲወሰድ አልታገለም፤ ባኪውን ቆልፎ እንደሆነ ብቻ ዞሮ አየ። አቢሶ የእህቱ ልጅ ፊት ሄዶ ቆመ። «ይቅር በይኝ» ብሎ ቀብሩን ሊያስቆም ስልኩን ይዞ ወጣ፤ በለጥሽም ተከተለችው።

ፊቤ ከሳጥኑ አልተነሳችም።

«እትዬ… ስለዚህ እኔ አይደለሁም?»

«አንቺ አይደለሽም።»

«ሹር?»

«ሹር። አንቺ ያሞቅሻት ነሽ።»

ያኔ ነው ፊቤ ያለቀሰችው። ጮክ ብላ፣ እንደ ልጅ፣ ማስኳ ፊቷ ላይ እየተጣበቀ አለቀሰች። ኤርጎጌ አጠገቧ ተቀመጠች። ቀናችባት፤ እውነቱ ይህ ነው። ሰው «አንቺ አይደለሽም» ተብሎ ማልቀስ መቻሉ አስቀናት።

«እኔ መርማሪ አልነበረኝም» አለች፣ ለማን እንደምትናገር ሳታውቅ። «ኤሊያስ ቤት ተቀምጦ ነበር። ከገበያ ይዤለት የገባሁት እኔ ነኝ።»

ፊቤ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ገበያ ለምን ሄዱ?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? የሚበላ አልነበረማ። መድኃኒቱም አልቆበት ነበር።»

ፊቤ ወደ ኤርጎጌ ዞረች።

«ታዲያ እርስዎም አይደሉም፣ እትዬ።»

ኤርጎጌ «እሺ» ልትል ነበር፤ እንደለመደችው። ማስኳ ውስጥ የሆነ ነገር ሲሞቃት ተሰማት፤ እንባዋ መሆኑን ያወቀችው ከንፈሯ ላይ ሲደርስ ነው። ፊቤ እጇን ያዘቻት፤ መራራቁን ሁለቱም ረሱት።

ከፊት ለፊት አንዲት አሮጊት የሱቁን ፍርግርግ በሳንቲም አንኳኩ።

«ሳውቦና፣ ማ ፍሬ! ዳቦ አለ?»

ፊቤ ኤርጎጌን አየቻት። ከዚያ ተነሳች፣ ፊቷን በቧንቧው ውሃ ታጠበች፣ ወደ ሱቁ ገብታ መስኮቱን ከፈተች።