ከከሚንግ ጎዳና የተገዛው የእጅ ሰዓት

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ዲሴምበር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በፊጂ፣ በሱቫ ከተማ ላይ ዝናብ ይወርድ ነበር፤ ይህም አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የነበረው የከተማው ሽር ጉድ ነው፤ ዘውድ ከጫኑ ዓመት ያልሞላቸው የእንግሊዝ ንግሥት በመርከብ ይመጣሉ ተብሎ፣ የገዥው ሹማምንት አጥር ያስቀባሉ፤ ነጋዴው በየደጁ ሰንደቅ ይሰቅላል፤ የየደሴቱ ባላባቶችም ሕዝባቸውን በጀልባ እያስጫኑ ወደ ከተማው ይልካሉ። ዝናቡ ግን የተቀባውን ሁሉ እያጠበ ሹማምንቱን ሲያበሳጫቸው ሰነበተ።

በዚያች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ኬሌራ የምትባል የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ በከሚንግ ጎዳና ከወርቅ ሠሪው ከጃምናዳስ ሱቅ ስትወጣ እግሯ መሬት የረገጠ አልመሰላትም። በግራ እጇ ላይ ጥቁር የቆዳ ማሰሪያ ያላት ትንሽ የሴት ሰዓት ነበረች። ጃምናዳስ ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው የምታመጣለትን ሽልንግ እየተቀበለ ሰዓቷን ከመስታወቱ ሥር ሲያቆያት ኖሮ፣ ዛሬ በገዛ እጁ አሰረላትና ከእንግዲህ ለማርፈድ ምክንያት እንደሌላት እየሳቀ ነገራት።

ኬሌራ ከሰኞ እስከ ዓርብ ኮረብታው ላይ ሚስዝ ሃርዉድ በምትባል የአንድ ሹም ሚስት ቤት ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፣ ታበስላለች፤ ቅዳሜ ግን የራሷ ናት። በዚያች ቀን የጨርቅ ነጋዴዎቹ እንደማትገዛ እያወቁ እንኳ አበባ አበባ ያለበትን ቺት ጣቃውን እየዘረጉ ያሳዩአታል፤ እሷም ትዳስሳለች፣ ዋጋ ትጠይቃለች፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ትወጣለች፤ ከዚያ ቀይ ሽሮፕ የፈሰሰበት የተፈጨ በረዶ እየመጠጠች ሲኒማ ቤት ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ትሰየማለች። ንግሥቲቱም በወርቅ ሠረገላቸው ከዚህ የበለጠ ደስታ ማግኘታቸውን እኔ እጠራጠራለሁ።

ችግሩ ያገሩ ልማድ ነበር። በፊጂ ዘመድ ዘመዱን አንድ ነገር ከጠየቀው እምቢ አይባልም፤ ልማዱን ኬሬኬሬ ይሉታል። ዛሬ የሰጠ ነገ በተራው ይጠይቃል፤ በዚህም የተነሣ በደሴቶቹ ላይ የሚራብ የለም፤ የሚከብርም የለም። የኬሌራ ጃንጥላ በዚህ መንገድ ወደ አጎቷ ልጅ ሄዷል፤ ካውያዋም፣ የፋሲካ ቀሚሷም ሄደዋል፤ ስትሰጥም በፈገግታ ነበር። ከተማ የገቡት ሁሉ ግን አንዲት ዘዴ ነበረቻቸው፤ የተጠየቁትን መከልከል ነውር ስለሆነ፣ እንዳይጠየቁ ዕቃቸውን ይደብቁ ነበር። ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚናገረው የለም።

ቱራክ ሰፈር ከሚገኘው በቆርቆሮ ከተሠራው ክፍሏ ስትደርስ ናና ቫሲቲ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ናና ቫሲቲ የእናቷ ታናሽ እህት ናቸው፤ በዚያ አገር የእናት እህት ናና፣ ማለትም እናት፣ ትባላለች እንጂ አክስት አትባልም፤ ወላጅ እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተችባትም ያሳደጓት እርሳቸው ነበሩ። ከቫቱሌሌ ደሴት ሴቶች ጋር በጀልባ መጥተው ነበር፤ እያንዳንዷ ሴት ከዛፍ ልጥ ቀጥቅጣ የሠራችውን ማሲ የተባለ ጌጠኛ ጨርቅ ይዛ በንግሥቲቱ ፊት ልትሰለፍ። የናና ቫሲቲ ማሲ ከስድስት ወር በላይ የፈጀ፣ በጥቀርሻና በቀይ አፈር የተነቀሰ፣ የደሴቷ ባላባት ራሳቸው አይተው ያመሰገኑት ነበር።

እቅፍ አድርገው ከሳሟት በኋላ ዓይናቸው እጇ ላይ አረፈ።

«ይኼ የሚንጣጣው ምንድን ነው?» አሏት፤ እጇንም ወደ ጆሯቸው አስጠግተው እያዳመጡ ሳቁ።

የሳቁት ሰዓቱ ባላቸውን አፔኒሳን ስላስታወሳቸው ነበር። አፔኒሳ በመንደራቸው ሕዝቡን ለጸሎት የሚጠራውን የቤተ ክርስቲያኑን የእንጨት ከበሮ የሚመቱ ሰው ናቸው፤ ፀሐይ ካለች በፀሐይ፣ ደመና ከሆነ በሆዳቸው ነው ሰዓት የሚያውቁት። ባለፈው ወር ሌሊቱ ሳይነጋ መትተው ሕዝቡን ሁሉ በእንቅልፍ ልቡ አስነሥተውት፣ ፓስተሩ ሽርጣቸውን ገልብጠው ታጥቀው መጡ።

«እስካሁን ድረስ ሕፃናቱ ይስቁበታል» አሉ ናና ቫሲቲ። «እሱ ደግሞ እየሳቀ ነው የሚቻለው፤ ማታ ማታ ግን እንቅልፍ የለውም። እንዲህ ያለ ነገር ቢኖረው እኮ...»

ኬሌራ የንግግሩን መጨረሻ አወቀችው፤ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፣ እሷ ግን ያወቀችው መሰላት። «የእመቤቴ ነው፣ ናና፤ አሠሪልኝ ብላኝ ወደ ሠሪው ልወስደው ነው» አለች።

ናና ቫሲቲ እሳት እንደነካ ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ታዲያ የሰው ዕቃ አስረሽ ትዞሪያለሽ? ፍቺው እንጂ፣ ልጄ!»

ፈታችው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ፣ ለእንጀራ እናት እንኳ የማይገባውን ማታለል ባሳደጓት እናት ላይ መፈጸሟን እያወቀች፣ ሰዓቱን መደበቅ ጀመረች። ማታ ማታ ለብቻዋ ስትወጣ ታስረዋለች፤ ደጃፍ ስትደርስ ፈትታ በጨርቅ ጠቅልላ ከፍራሽ ሥር ትሸጉጠዋለች። ናና ቫሲቲ ጎደሬውን ቀቅለው፣ ዓሣውን በኮኮናት ወተት ሠርተው ሲጠብቋት፣ ቶሎ ቶሎ በልታ ሳህኑን ለማጠብ ትነሣለች። ነገ እነግራቸዋለሁ ትላለች፤ ነገም ሌላ ነገ ይወልዳል።

በሳምንቱ ረቡዕ ዝናቡ ጋብ ሲል ናና ቫሲቲ ፍራሹን ፀሐይ ላይ ሊያሰጡ አነሡት፤ ሰዓቱም ከጨርቁ ውስጥ ሲንጣጣ አገኙት። ለጥገና የተላከ ሰዓት ተደብቆ ሲገኝ፣ እርሳቸው የሚያውቁት ምክንያት አንድ ብቻ ነበር። ማታ ልጂቱ ስትመጣ ምንም አልተነፈሱም፤ በአገራቸው ልጅ ሲያጠፋ የሚያፍረው አሳዳጊው ነውና፤ ለተበደለው ሰው ያለውን የከበረ ዕቃ ይዞ ሄዶ አንገቱን የሚደፋውም እርሱ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ኬሌራ በሚስዝ ሃርዉድ ወጥ ቤት እንቁላል ስትጠብስ፣ ናና ቫሲቲ በጓሮ በር ገብተው ከወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ማሲውን ዘርግተው፣ በላዩም ሰዓቱን አኖሩ። ሚስዝ ሃርዉድ ቡናዋን ፍለጋ ብቅ ስትል፣ አሮጊቷ ራሳቸውን ደፍተው ነበር።

«እመቤቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ያሳደግኋት እኔ ነኝ» አሉ በቋንቋቸው። «እጇን እኔ ነኝ ያላሠለጠንሁት። ዕቃዎን መልሻለሁ፤ ይህ ደግሞ የፊቴ መሸፈኛ ነው። ከቤትዎ አያባርሯት።»

ሚስዝ ሃርዉድ በዚያ አገር ብዙ ዓመት ብትኖርም የምታውቀው ቃል ከሰላምታ አያልፍም። ወደ ኬሌራ ዞር ብላ ምን እንደሚሉ ጠየቀቻት።

ኬሌራ መጥበሻውን ከእሳቱ ላይ አነሣችው። እውነቱን ለአሮጊቷ መናገር ቀላል ነበር፤ ሰዓቱ የእኔ ነው ማለት ብቻ። ነገር ግን ይህን ካለች ናና ቫሲቲ ለምን እንደዋሸቻቸው ያውቃሉ፤ ካሳደጋት እጅ ዕቃዋን የሰወረች ንፉግ መሆኗን ያውቃሉ። በዚያ አገር ደግሞ ከሌባ ይልቅ ንፉግ ያስጠላል፤ ሌባስ ቢያንስ ቸግሮት ነው።

«ስጦታ ነው ይላሉ» አለች፣ ናና ቫሲቲ በማይሰሙት በእንግሊዝኛ። «ስላኖሩኝ ሊያመሰግኑዎት ነው። ሰዓቱ የእኔ ነው፤ ቤት ረስቼው ይዘውልኝ መጡ።»

ሚስዝ ሃርዉድ ደስ አላት። ማሲውን አንሥታ አደነቀች፤ ለሰገነቱ ጠረጴዛ ልክ እንደሚሆን ተናገረች፤ ሰዓቱንም አንሥታ፣ እንዲህ ያለ ቆንጆ ነገር አይረሳም ብላ እየሳቀች ለኬሌራ እጇ ላይ አሰረችላት።

ናና ቫሲቲ ይህን ሲያዩ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። የተሰረቀባትን ዕቃ ለሰረቀቻት ልጅ በእጇ የምታስር ሴት በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም። ኬሌራ ልትሸኛቸው አብራ ወጣች፤ እርሳቸውም መንገዱን ሁሉ የዚያችን ፈረንጅ ቸርነት ሲያወሩላት ሄዱ።

ንግሥቲቱ በመጡበት ዕለት በአልበርት መናፈሻ የቆመው ሕዝብ ቁጥር ስፍር አልነበረውም። ያገሩ ሰው ታላቅን የሚያከብረው በጩኸት ሳይሆን በጸጥታ ነውና፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ትንፋሹን ውጦ ቆመ። የቫቱሌሌ ሴቶች ማሲያቸውን ይዘው ሲሰለፉ ናና ቫሲቲ ከኋላ፣ ከአጥሩ ሥር ነበሩ። የእርስዎስ የታለ ሲሏቸው፣ ጀልባው ላይ ማዕበል አበላሸብኝ አሉ። ኬሌራ ይህን በጆሯ ሰማች፤ ናና ቫሲቲ ሲዋሹ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የእጇ ሰዓት ሲንጣጣ ሰው ሁሉ የሚሰማው መሰላትና በሌላው እጇ ሸፈነችው፤ ንግሥቲቱም ሳታያቸው አለፉ።

ሴቶቹ በሚመለሱበት ቀን ወደብ ላይ ሰዓቱን ፈትታ በናና ቫሲቲ እጅ አኖረችው። «ለአባባ አፔኒሳ ይውሰዱላቸው» አለች።

መለሱላት። «ያቺ ሴት ይቅር ብላ የሰጠችሽን እኔ አልወስድም። እሰሪው፤ ባየሽው ቁጥር እጅሽን ሰብስቢ።»

ያን ጊዜ ኬሌራ መሸከም አቃታት። «የገዛሁት ነው፣ ናና። ከጃምናዳስ ሱቅ፣ በራሴ ሽልንግ። አልሰረቅሁም። የእመቤቴ ነው ያልሁዎት... እንዳይጠይቁኝ ብዬ ነው።»

ጀልባው ላይ ያሉት ሴቶች ይጣሩ ነበር። ናና ቫሲቲ ልጂቱን ቀና ብለው አዩዋት፤ ቁጣ በፊታቸው አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን በተሻላት።

«ሰርቀሽው ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ለሌብነትሽ የምለምንልሽ ሰው አግኝቼ ነበር። ለዚህ ማን ዘንድ ልሂድልሽ?»

ከዚያም እንደ አገሩ ወግ ጉንጯን አሽትተው ተሳፈሩ።

የዘመኑ ጋዜጦች የንግሥቲቱን ጉብኝት በሰፊው ጽፈዋል፤ የቀሚሳቸውን ቀለም፣ የባላባቶቹን ንግግር፣ ሕዝቡን ያስደነቀውን ያን ጸጥታ ሁሉ ዘግበዋል። ከቫቱሌሌ ሴቶች አንዷ ባዶ እጇን ከአጥር ሥር መቆሟን የጻፈ የለም፤ ታሪክ ሰልፉን እንጂ ከሰልፉ የጎደለውን አይቆጥርምና። ሚስዝ ሃርዉድም ከዓመታት በኋላ ባሏ ሲዛወር ማሲውን ጠቅልላ ወደ አገሯ ወሰደችው፤ እስክትሞትም ድረስ ስለ ፊጂ ሰዎች ለጋስነት ታወራ ነበር።

ኬሌራ በሱቫ ኖረች፤ አገባች፤ ወለደች፤ ቤቷም በዕቃ ሞላ። ናና ቫሲቲ አልተቀየሟትም፤ በየጀልባው ጎደሬና ዓሣ ይልኩላት ነበር፤ ለክብር እንግዳ እንደሚላክ፣ ታጥቦ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ። ከደሴቱ የመጣ ዘመድ ሁሉ ቤቷ ያድራል፤ ይበላል፤ ያመሰግናል። ጀልባው ላይ የነበሩት ሴቶች የወደቡን ወሬ ደሴቱ አድርሰውት ነበርና፣ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ጃንጥላ ሲያስፈልጋቸው ግን አጠገቧ ያለችውን ደሃ ጎረቤቷን ይጠይቃሉ። እሷም አንዳንዴ ጥሩ ጥሩውን ዕቃ አውጥታ ሰው በሚያየው ቦታ ታስቀምጥ ነበር፤ አድንቀውላት፣ ቦታው ላይ መልሰውላት ይሄዱ ነበር እንጂ፣ እስከ ዕለተ ሞቷ አንዲት ነገር የጠየቃት ዘመድ አልነበረም።