ልኩ ያልተጠየቀ እግር

ኢንስፔክተር ኢምዳድ የእማማ ጉልናሃርን ሞት የሰማው ሸሚዝ ለመቀየር ደጅ ሲጠና ነው። ሸሚዙን ባለፈው ቀን የገዛው ሻጩ በጠራው ዋጋ ነበር። ሚስቱ ዋጋውን ስትሰማ ጭንቅላቷን ያዘች፤ እጅጌው ማጠሩን ስታይ ደግሞ ጠዋት በማለዳ ጠቅልላ አስያዘችው። እዚህ ባሪሳል ውስጥ ሌባን በዓይኑ የሚለይ ፖሊስ እሱ ነው ይባላል፤ ገበያ ሲገባ ግን እንደ ሕፃን እንደሚታለል ከተማው በሙሉ ያውቃል።

ሻጩ የሱቁን መዝጊያ ወደ ላይ እየገፋ ሳለ ጥቅሉን አየና ፊቱን አጠቆረ።

«ኢንስፔክተር፣ በአላህ ይዤዎታለሁ! ገና መክፈቻ እንኳ አልሸጥኩም። ዕቃ መልሰው ቀኔን ሊያጨልሙብኝ ነው? ይሂዱና ሻይ ይጠጡ፤ አንድ ነገር ልሽጥና ይመለሱ።»

«እኔው ሌላ ልግዛና መክፈቻ ይሁንህ?»

«ይግዙ! ነገ ባለቤትዎ ሁለቱንም ጠቅልለው ይልኩዎታል።»

ከሱቁ ጎን ባለው ሻይ ቤት የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሳቀ። ኢምዳድም ሊስቅ ሲል ኮንስታብል ሺያማል እያለከለከ ደረሰ።

«ጌታዬ፣ እማማ ጉልናሃር ሞተዋል። ደረጃ ሥር ወድቀው ነው የተገኙት። ሰፈሩ ምራታቸው ገፍትራቸው ነው እያለ ነው።»

ጉልናሃርን የማያውቅ ሻጭ አልነበረም። መርፌ ይሁን የፀጉር ማስያዣ፣ ሳሙና ይሁን ቁልፍ፣ የምትገዛው ማልዳ ሱቅ ሲከፈት ነው። የመጀመሪያዋን ደንበኛ ባዶ እጇን መሸኘት ቀንን ያጨልማል ብሎ ሻጩ እንደሚፈራ ታውቃለች፤ በዚያ ፍርሃት ዋጋውን እስከ አጥንቱ ትግጠዋለች። የቤቱን ሰው ሁሉ ልብስና ጫማ የምትመርጠውም እሷ ብቻ ነበረች። የሚመቸውን ሳይሆን የረከሰውን ትገዛለች፤ ለባሹ ዝም ብሎ ይለብሳል።

አስከሬኑ ከቤቷ የሲሚንቶ ደረጃ ሥር በጎኑ ተጋድሟል። ኢምዳድ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ከዚያ ዓይኑ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ወደተንጠለጠለው የገበያ ከረጢት ሄደ። ከረጢቱ ባዶ ነው።

«ወደ ገበያ ሳትወጣ ነው የሞተችው» አለ። «እሷ ደግሞ ሱቅ ከመከፈቱ በፊት በር ላይ የምትቆም ሴት ናት።»

ፎቅ ላይ ተከራይቶ የሚኖረው የሒሳብ መምህር ሐሩን መነጽሩን እየወለወለ መጣ።

«የመንገዱ ሱቆች መዝጊያ እየተንኳኳ ሲከፈት ነው የሰማሁት» አለ። «መጀመሪያ እማማ ጉልናሃር ሳቁ። ቀጥሎ ‹ትለምጂዋለሽ› አሉ። ከዚያ አንድ ነገር ወደቀ።»

«ማንን ነው ትለምጂዋለሽ ያሉት?»

«ማንን ይሆናል? ምራታቸውን ሞይናን ነዋ! ማታ በሳሙና ምክንያት ሲጣሉ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።»

«ሲወድቅ ሰምተህ ለምን አልወጣህም?»

«ጌታዬ፣ እዚህ ቤት ሁልጊዜ አንድ ነገር ይወድቃል። በግማሽ ዋጋ ገዝተው ያከራዩኝ አልጋ እንኳ ስንቴ ከነነፍሴ ወድቋል!»

ምራቷ ሞይና ሴት ልጇን ታቅፋ ማድ ቤት ተቀምጣለች። የልጅቷ አንገት ቀልቶ ቆስሏል።

«አልክድም፣ ተጣልተናል» አለች። «ርካሽ ሳሙና ገዝተው የልጄን የቱኒን ቆዳ ላጡት። ማታውኑ ዓይናቸው እያየ ሳሙናውን ኩሬ ውስጥ ጣልኩት። ጠዋት ግን አልነካኋቸውም። ጓሮ ልጄን እያጠብኩ ነበር። ስገባ ወድቀው አገኘኋቸው።»

«ጓሮ መሆንሽን ያየ ሰው አለ?»

«ቱኒ አይታለች። የእሷን ቃል ትቀበላላችሁ?» ልጅቷን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ባሌ ዱባይ ነው። ወንድሞቹ ውጭ ቆመው የሚጠብቁኝ ለቀብሩ እንዳይመስልዎት። እኔ ከታሰርኩ ቱኒን ይወስዷታል። ከወሰዷት ደግሞ ዳግመኛ አያሳዩኝም።»

ልጅቷ የእናቷን ጉትቻ ይዛ ትጎትታለች። ኢምዳድ ልቡ ከበደው፤ ያሉት ማስረጃዎች ሁሉ ወደዚህች ሴት ይጠቁማሉ።

ከቀትር በኋላ የሟቿ ታናሽ እህት አንጁማን ገባች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እህቷ ቤት ተጠግታ የምትኖር፣ ድምጿ የማይሰማ ሴት ናት። አስከሬኑን ስታይ የእህቷን እጅ ይዛ አለቀሰች። ለቅሶዋ የውሸት አልነበረም። ኢምዳድ ግን እግሯን አየ። ያደረገችው ሰንደል አዲስ ነው፤ ልኳ ነው፤ ተረከዟ ግን ተልጦ ደም ቋጥሯል።

«የት ዋሉ፣ እማማ?» አላት።

«ጫማ ልቀይር ሄጄ ነው። እህቴ ትናንት በቅናሽ የገዛችልኝ በጣም ጠበበኝ። ኦሊ ሚያ ሱቁን ሲከፍት ደረስኩ። ከእኔ በፊት ማንም አልነበረም። ያንን ተቀብሎኝ ይህን ሰጠኝ። ከዚያ ወንዝ ዳር ቁጭ ብዬ ዋልኩ።»

«ምንም ሳይል ተቀበለዎት?»

«ምን ይላል? ደግ ሰው ነው። እንዲያውም ፈገግ አለልኝ።»

ኢምዳድ ብብቱ ሥር የያዘውን የሸሚዝ ጥቅል ተመለከተ። ከዚያ ሺያማልን ወደ ጫማ ሻጩ ላከው።

ኮንስታብሉ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። «እውነታቸውን ነው ጌታዬ፤ ዛሬ ጫማ ቀይረዋል።»

«መቼ እንደቀየሩ ጠየቅኸው?»

«ጠዋት ነው ብለው የለ?»

«ሂድና ሰውየውን ራሱን አምጣው። የተመለሰውን ጫማም ይዞ ይምጣ።»

ኦሊ ሚያ ሲደርስ ሁሉም ደረጃው ሥር ተሰብስበዋል። የሞይና ባል ወንድሞች በሩን ሞልተው ቆመዋል፤ አንደኛው «ገዳይዋ እዚህ ተቀምጣ ምን ትጠብቃላችሁ?» ይላል። ኢምዳድ ወደ እሱ ዞር አላለም።

«መምህር ሐሩን» አለ፣ «ጠዋት ሱቅ ሲከፈት፣ ሰውየው ምንም ሳይሸጥ፣ ዕቃ ልመልስ ብለህ ብትሄድ ምን ይልሃል?»

ሐሩን ሳያስበው ሳቀ። «ሰባት ትውልዴን ይሰድባላ!»

«አንቺስ ሞይና?»

«ኧረ ማን ይሞክረዋል? እስኪሸጥ ውጭ እቆማለሁ።»

«ሺያማል?»

ኮንስታብሉ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ምን ነካኝ! ባለጌ ካልሆነ ማን ይሄዳል?»

ከመካከላቸው አንጁማን ብቻ አንዴ ያንዱን አንዴ የሌላውን ፊት ታያለች። ምን እንደሚያወሩ አልገባትም።

«ኦሊ ሚያ፣ እኚህ ሴት መቼ መጡ?»

«የቀትር ሶላት ተጠርቶ ነው ጌታዬ። ጠዋት መጥተው ቢሆን ኖሮ በክፉ ቃል እመልሳቸው ነበር። የጫማ ቁጥራቸውን ስጠይቃቸው አላውቀውም አሉ። እግራቸውን በእጄ ለክቼ ነው የሰጠኋቸው።»

ኢምዳድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ።

«እህትዎ የሞቱት መዝጊያዎች ሲነሱ ነው፤ የገበያ ከረጢታቸው ገና ተሰቅሏል፣ መምህሩም ሰምቷል። እማማ አንጁማን ያን ጊዜ ኦሊ ሚያ ሱቅ ነበርኩ አሉ። መሆን ግን አይችልም። ‹ትለምጂዋለሽ› የተባለውም ሞይና አይደለችም፤ ሳሙናው ማታውኑ ኩሬ ገብቷል። ዛሬ ጠዋት እዚህ ቤት ልመዱት የሚባል ነገር የነበረው አንድ እግር ላይ ብቻ ነው።» ኦሊ ሚያ ያመጣውን ጫማ አነሳ፤ የተረከዙ ማሰሪያ ላይ የደረቀ ደም አለ። «የዚህ ከተማ ሰው ዕድሜው ምንም ይሁን እንዲህ ብሎ አይዋሽም። እንዲህ የሚዋሸው በሕይወቱ አንድም ቀን ለራሱ ዕቃ ገዝቶ የማያውቅ ሰው ነው።»

አንጁማን ደረጃው ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«እኔው ሄጄ ልቀይረው አልኳት» አለች። «ሌላ ምንም አላልኳትም። ሳቀችብኝ። አንቺን ገበያ ቢያገኝሽ ከነሕይወትሽ ይበላሻል፤ ይልቅ ትለምጂዋለሽ አለችኝ። ጫማውን ከእጄ ልትነጥቀኝ ስትል ገፋኋት። ዕድሜዬን ሁሉ ለመድኩ እኮ! ልብሷን ለመድኩ፣ የሰው ትራፊ መነጽር ለመድኩ። ገፋኋት፣ ወደቀች፣ ጫማዬን ይዤ ወጣሁ። ያንኑ ጠባብ ጫማ ተጫምቼ ነው ወንዝ ድረስ የሄድኩት።»

ሞይና ቱኒን አጥብቃ ይዛ ቀረበቻት።

«አክስቴ፣ እኔን ሲወስዱኝ ዝም ልትይ ነበር?»

አንጁማን ቀና ብላ ልጅቷን አየች። «አላውቅም» አለች። ከዚያ «ዝም እል ነበር መሰለኝ» አለች፤ ሞይናም ፊቷን አዞረች።

በሩን የሞሉት ወንድማማቾች ቀስ እያሉ ለቀቁት። ሐሩን መነጽሩን አውልቆ እንደገና ይወለውላል። ኢምዳድ ነፍሰ ገዳይ በያዘበት ቀን እንዲህ አንገቱን ደፍቶ አያውቅም።

አንጁማን ልትሄድ ስትነሳ ሺያማል ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ ጫማው… አዲሱም ማስረጃ ነው እኮ።»

ኢምዳድ ሊቆጣው አሰበ፤ ግን ልክ ነው። አንጁማን ሳይነገራት ጎንበስ ብላ ሰንደሎቹን ፈታች፤ ጎን ለጎን አድርጋ ደረጃው ላይ አስቀመጠቻቸው። ውጭ ዝናብ ጀምሯል።

ሞይና ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ቆማ ነበር። አንጁማን ባዶ እግሯን ደጃፉ ላይ ስትደርስ፣ ሞይና ሳትዞር የራሷን ጫማ ከእግሯ አወለቀችና ወደ እሷ ገፋ አደረገችው። አሮጊቷ ተጫማችው። ሰፊ ነበር። እየጎተተችው በኢምዳድ አጠገብ አልፋ ወደ ፖሊስ መኪናው ሄደች።