ወንዙ ዳር የቀሩት ጫማዎች

መነጽር ሠሪዋ በወንዙ ዳር እንዳትሄድ ከተከለከለች አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗታል። የከለከለቻት እናቷ ናት። ከቤት እስከ መነጽር ቤቱ በወንዙ ዳር ቢሄዱ ሩብ ሰዓት ነው፤ በላይኛው መንገድ ግን አርባ ደቂቃ ይፈጃል። እሷ ሁልጊዜ የአርባ ደቂቃውን ትሄዳለች። ለምን እንደሆነ ለማንም ተናግራ አታውቅም።

አንድ ቅዳሜ ግን የላይኛው መንገድ ለውሃ ቧንቧ ተቆፍሮ ተዘጋ።

«በታች በኩል፣ እህቴ፣ በታች በኩል!» አላት ቆፋሪው፣ በአካፋው እያመለከታት።

መጸው ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ዛፎቹ እርቃናቸውን ቀርተዋል፤ የረገፈው ቅጠል ወደ ውሃው በሚወርዱት ደረጃዎች ላይ ረጥቦ ያንሸራትታል። መነጽር ሠሪዋ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ፣ ዓይኗን ከውሃው አሽሽታ፣ ቶሎ ቶሎ ስትራመድ አንዳች ነገር ከኋላዋ ሻርፗን ጎተታት።

«እንዳትነቃነቂ!» የሚል የወንድ ድምፅ ሰማች። «በእግዜር እንዳትነቃነቂ፣ መንጠቆ ነው!»

ባለችበት ቆመች። አንድ ረጅም ወጣት የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን እንደያዘ እየሮጠ መጣ። ቅንድቡ ላይ ዱቄት ቀርቶበታል፤ ፊቱም ከቅንድቡ ባልተናነሰ ነጥቷል።

«ገደልኩሽ?»

«እስካሁን አልሞትኩም» አለችው።

መንጠቆውን ሊያወጣ ሞከረ። ጣቶቹ ወፋፍራም ናቸው፤ ጭራሽ አጠበቀው። በመጨረሻ እሷ ከቦርሳዋ የሥራ ወረንጦዋን አውጥታ ባንድ አፍታ ነቀለችው። አፉን ከፍቶ አያት።

«ሐኪም ነሽ?»

«መነጽር ነው የምሠራው።»

«እንግዲያው ለኔም ሥሪልኝ። ዓሣ ፍለጋ ወጥቼ ሰው የያዝኩት ዓይኔ ቢደክም ነው።»

ሳቋ አመለጣት። በዚያ ወንዝ ዳር እስቃለሁ ብላ አስባ አታውቅም ነበር፤ በራሷ ሳቅ ደነገጠች።

በሳምንቱ የላይኛው መንገድ ተከፈተ። እሷ ግን በታች በኩል ሄደች።

ሰውዬው ዳቦ ጋጋሪ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የጠዋቱን ዳቦ አውጥቶ ሲጨርስ፣ የቀረውን ሊጥ በማር ለውሶ በላስቲክ ይቋጥርና ወንዝ ይወርዳል። ከሊጡ ቆንጥሮ መንጠቆው ላይ እንዴት እንደሚያድበለብል አሳያት። ውሃው ሲቀዘቅዝ ዓሣው ወደ ጥልቁ እንደሚወርድ፣ ሰነፍ እንደሚሆን፣ የሚጠብቀውም ሰው መስነፍ እንዳለበት ነገራት። አንድ ጊዜ ክንድ የሚያህል አምባዛ አውጥተው ሁለቱም ጮኹ። ጋጋሪው ዓሣውን ካስነካት በኋላ መልሶ ለቀቀው።

«ታች ከፋብሪካው ወዲያ ዓሣው ይበዛል ይባላል» አለችው አንድ ቀን።

«ይበዛል።»

«ታዲያ ለምን እዚያ አትሄድም?»

«እኔ እዚህ ነኝ» አለና መንጠቆው ላይ አዲስ ሊጥ አድበለበለ። ለምን ብላ አልጠየቀችውም። እሷም ያልነገረችው ነገር ነበራት።

በአራተኛው ቅዳሜ ዘንጉን ስታቀብለው እጁ እጇ ላይ ቆየ። አላሸሸችውም።

«ቅዳሜ እስኪደርስ ሳምንቱ እንዳልቦካ ሊጥ አልነሳ ይለኛል» አላት፣ ውሃ ውሃውን እያየ።

እሷም ያን ሳምንት ሥራዋ ላይ ብቻዋን ፈገግ ስትል ሰንብታ፣ አለቃዋ «ሎተሪ ደረሰሽ እንዴ?» አላት።

በአምስተኛው ቅዳሜ ጋጋሪው ጠየቃት።

«ሁልጊዜ እኔን ታያለሽ፣ ዛፉን ታያለሽ፣ ድልድዩን ታያለሽ። ውሃውን ግን አይተሽው አታውቂም። ለምንድን ነው?»

ልትሸሸው አሰበች። ከዚያ ግን ለማንም ያልተናገረችው ነገር ከአፏ ወጣ።

«ወንድም ጋሼ እዚህ ነው የሞተው። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ እሱ ሃያ። ፈተና ወድቆ ጠዋት ከእማዬ ጋር ተጣሉ። ‹ከዓይኔ ጥፋ!› አለችው። ወጥቶ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ራሱን ወንዝ ውስጥ ወረወረ።»

«ማን አየው?»

«ማንም። ግን ጫማዎቹ እዚህ ደረጃ ላይ ነበሩ። አልጋ ሥር እንደሚደረጉ፣ ጎን ለጎን፣ ተስተካክለው። አዳልጦት የወደቀ ሰው ጫማውን አያስተካክልም፤ አስቦበት ነው ብለው ነገሩን። አባቴ ከዚያ ወዲያ ስሙን ሳያነሳ ሞተ። እማዬ ያቺን አንድ ቃሏን ታቅፋ ትኖራለች።»

ዘንጉ ከጋጋሪው እጅ አምልጦ ድንጋዩ ላይ ነጥሮ ውሃ ውስጥ ገባ። ዞር ብሎም አላየው።

«ቡናማ ጫማ ነበር?» አላት። ድምፁ የእሱ አይመስልም። «የግራው ማሰሪያ በጥቁር ክር የተቀጠለ?»

መነጽር ሠሪዋ ዞራ አየችው። ማሰሪያውን የቀጠለችው እናቷ ነበረች። ያንን ከቤተሰብ ውጭ የሚያውቅ ሰው የለም።

«እኔ ነኝ ያስተካከልኳቸው» አለ።

«ምን?»

«አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። የአባቴን ዘንግ ሰርቄ መጣሁ። ቅጠሉ አንሸራተተኝና ገባሁ። ወንድምሽ ጫማውን ከእግሩ አሽቀንጥሮ ዘሎ ገባ። ይዞኝ ወጣ፤ ደረጃው ላይ ገፍቶ አወጣኝ። እጄን ስዘረጋለት ውሃው ወሰደው። ይመለሳል ብዬ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት። አንዱ ጫማ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ወድቆ ነበር። ሲወጣ እንዳይፈልጋቸው ብዬ… ሰብስቤ ጎን ለጎን አስቀመጥኩለት።»

ብድግ ብላ ቆመች።

«አሥራ ሰባት ዓመት!» ጮኸች። «አንድ ቃል! አንድ ቃል ብትናገር!»

«ቤት ገብቼ ስነግረው አባቴ ‹ምንም አላየህም፣ ሰው አስገደለ ይሉሃል› ብሎ በማግስቱ ሌላ ከተማ፣ አክስቴ ዘንድ ላከኝ። ካደግሁ በኋላ ተመለስኩ። ማን እንደነበር የሚነግረኝ አጣሁ።» ቀና ብሎ አያት። «አልዋሽሽም፤ አጥብቄም አልጠየቅኩም። ፈራሁ። ራሱን ገደለ መባሉን ግን አሁን ካንቺ ሰማሁ።»

ሳትሰናበተው ሄደች።

ሦስት ሳምንት በላይኛው መንገድ ተመላለሰች። ሥራ ላይ የቀኙን ሌንስ ለግራ ሞርዳ ተቆጧት። ማታ እራት ላይ «እማዬ» ብላ ትጀምርና እናቷ «ወዬ» ስትል «ጨው አቀብዪኝ» ትላለች። እንዲያ ያለውን ነገር በየትኛው አፍ ይናገሩታል? ከሁሉ የባሰ ያስደነገጣት ግን ሌላ ነበር፤ ጋጋሪው ናፍቋታል። በወንድሟ ሕይወት የተረፈ ሰው እንዴት ይናፈቃል? ራሷን ትቆጣለች፤ ቅዳሜ ሲደርስ ደግሞ ልቧ ይሸፍታል።

ወንድሟ የሞተበት ቀን ደረሰ። በዚያ ቀን እናቷ በየዓመቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። መነጽር ሠሪዋ ሻይ ይዛላት ስትገባ ጉርምርምታዋን ሰማች።

«ጥፋ አልኩት። ልጄ ቃሌን የሚሰማው ያን ቀን ብቻ ይሁን?»

ኩባያውን አስቀምጣ፣ ካፖርቷን ደርባ፣ በቀጥታ ዳቦ ቤት ሄደች። ጋጋሪው ከምድጃው ፊት ቆሞ ነበር፤ ሲያያት መጥረጊያው ከእጁ ወደቀ።

«አንተው ንገራት» አለችው። «እኔ አልቻልኩም።»

ሽርጡን ፈትቶ ተከተላት።

ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እናትየው በግድ ተነስታ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ እንግዳው አልቀመጥም ብሎ ቆመ። እንደቆመም ሁሉንም ነገራት፤ መንሸራተቱን፣ መውጣቱን፣ ጫማዎቹን፣ የአባቱን ማስፈራራት። ፍርሃቱንም አልደበቀም።

እናትየው አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። ይህ ልጇን አስደነገጣት።

«ከመግባቱ በፊት አነጋግሮህ ነበር?» አለች በመጨረሻ።

«አዎ፣ እማማ። አጠገቤ ቁጭ ብሎ ነበር። የመንጠቆ አስተሳሰሬ አሳቀው፤ ፈትቶ እንደገና አሰረልኝ። ‹ትልቅ ዓሣ ከያዝክ ስጠኝ፤ ጠዋት እናቴን አስቀይሜያታለሁ። እሱን ይዤ ቤት ልግባና ትታረቀኝ› አለኝ።»

እናትየው አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ድገመው።»

ደገመው።

«ልግባ ነው ያለው? ቤት ልግባ?»

«ልግባ ነው ያለው፣ እማማ።»

ሦስተኛም አስደገመችው። ከዚያ ተነስታ ፊቱ ቆመች። በመዳፏ ጉንጩን፣ ትከሻውን፣ ክንዱን ደባበሰችው፤ የገዛችውን ዕቃ ደኅና መሆኑን እንደምታረጋግጥ።

«አባትህ በሕይወት አለ?»

«አለ።»

«እሱን ይቅር አልልም። ዛሬ አልልም፤ ንገረው። አንተ ግን ልጅ ነበርክ።»

ይህን ብላ በነጠላ ጫማዋ ወደ በሩ ሄደች። ኮሪደሩን ተሻግራ የጡረተኛውን መምህር በር በቡጢ ደበደበች። መምህሩ ጉርሻውን ሳይውጥ ከፈተ።

«ልጄ ራሱን አልገደለም!» አለችው። «የሰው ልጅ አድኖ ነው የሞተው! ይስሙኝ፣ መምህር፣ የሰው ልጅ አድኖ ነው!»

ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወረደች። የልብስ ሰፊዋ በር ሲንኳኳ፣ «ምን ተፈጠረ? እሳት ነው?» የሚል ድምፅ፣ ከዚያም የእናትየው ያው ቃል ተሰማ። በሮች ይከፈታሉ፤ ሰው ደረጃው ላይ ይሰበሰባል። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አንገቷን ደፍታ የወጣችበትንና የወረደችበትን ደረጃ እየጮኸች ትወርደዋለች።

ሁለቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ቀሩ።

«ሦስቱንም ቅዳሜ ወንዝ ዳር ነበርኩ» አላት በቀስታ። «ምናልባት ትመጪ እንደሆነ ብዬ።»

«ያለ ዘንግ?»

«ያለ ዘንግ።»

አየችው። ዓይኑ አብጧል፤ ቅንድቡ ላይ ዛሬም ዱቄት አለ። ስትጠላው የከረመችውን ሰው ፈልጋ አጣችው።

«አትሂድብኝ» አለችው።

«ኧረ ልጁን አምጡት!» የእናትየው ድምፅ ከታች አስተጋባ። «ውረድ እንጂ፣ ይዩህ!»

ጋጋሪው ባለበት ደረቀ። ዕድሜውን ሙሉ ከዚህች ቅጽበት ሲሸሽ ኖሯል። መነጽር ሠሪዋ እጁን ያዘችና ደረጃውን አብረው ወረዱ፤ በየፎቁ ሰዎች መንገድ ለቀቁላቸው፤ ልብስ ሰፊዋ የጋጋሪውን እጅጌ ነካ አደረገች።

ምድር ቤት ዘበኛው ራዲዮኑን ዘግቶ ቆሞ ነበር። እጅ ለእጅ መያያዛቸውን አየ።

«ታዲያ፣ እትዬ» አለ እናትየውን፣ «ይሄ ልጅ አሁን ለእናንተ ምናችሁ ነው?»

እናትየው ዞር ብላ የተያያዙትን እጆች ገና አሁን አየቻቸው።

«እኔ ምን አውቄ፤ እሷን ጠይቃት» አለች።

ደረጃው ሙሉ ሰው ወደ መነጽር ሠሪዋ ዞረ።

«እጮኛዬ ነው» አለች መነጽር ሠሪዋ።

ከሁሉም በላይ የደነገጠው ጋጋሪው ራሱ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ?» አላት በሹክሹክታ።

«ካሁን ጀምሮ። ምነው፣ ቅር አለህ?»

እናትየው መጨረሻው ደረጃ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ አሥራ ሰባት ዓመት የያዘችውን ለቅሶ ለቀቀችው።