አመድ የለበሰው ሞተር

አቶ ወልደሚካኤል ሞተው የተገኙት እሑድ ጠዋት፣ አቃቂ በሰቃ ባለው የብየዳ ክፍላቸው ውስጥ፣ በሩ ከውጭ እንደተቀረቀረ ነው። ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ወድቀዋል። የሁለቱም እጆቻቸው መዳፍ ተልጧል። ከጀርባቸው የአንድ አሮጌ ፔጆ 404 ሞተር አመድ ውስጥ ተቀብሮ ነበር።

መርማሪ አሰጋሽ ስትደርስ ሰፈሩ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። ገዳዩ ሞተሩ ነው።

«ሦስት ጋራዥ ተበይዶ ሦስቴ የተሰነጠቀ ሲሊንደር የጤና ነው?» ይላል አንዱ።

«ትናንት ከሰዓት በኋላ ሲያንኳኳ ሰምተናል እኮ!» ይላል ሌላው።

አሰጋሽ በሙያዋ ብዙ ዓይነት ሰው አስራለች፤ መንፈስ ግን አስራ አታውቅም፤ ለካቴና የሚሆን እጅ የለውማ። እንዲያም ሆኖ ወደዚያ ጨለማ ክፍል ስትገባ ሰውነቷን ሰቀጠጣት። አመዱ ገና ለብ ያለ ነበር፤ ማንም አልነካውም። እሷም እንዳይነካ አዘዘች።

የጣቢያው ፖሊሶች ሞተር ማሰር ስላቃታቸው ጀቤሳን አስረዋል። ጀቤሳ የሟቹ የሥራ ሸሪክ፣ ሞተር አውርዶ የሚገጥም መካኒክ ነው። ቅዳሜ ጠዋት «ይቺ ሞተር አንዳችንን ሳትበላ አትወጣም፤ ይመልሷት!» እያለ ከሽማግሌው ጋር ሲጨቃጨቅ ሁሉም ሰምቷል። አሁን እጁ በካቴና ታስሮ በሩ ላይ ቆሟል። እህቱ አለሚቱ ክንዱን ይዛ አልለቅም ብላለች።

«ባሌን በሰባ ዓመተ ምሕረት ሲወስዱት ‹ለአጭር ጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል› ብለውኝ ነበር» አለች ለአሰጋሽ። «ይኸው አሥራ ስምንት ዓመቴ፤ እየጠበቅሁ ነው። ወንድሜንም ለጥያቄ ነው ይሉኛል። እሱም ከሄደ ማን ቀረኝ?»

«ገዳዩን ሳላውቅ ከዚህ ግቢ አይወጣም» አለቻት አሰጋሽ። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ደነገጠች። ይህን ቃል መጠበቅ ካቃታት ይህች ሴት ሁለተኛ ሰው መጠበቅ ልትጀምር ነው።

ጀቤሳን ለብቻው አስቀመጠችው።

«አሠራራችሁን ንገረኝ። እንደማያውቅ ሰው ቁጠረኝ።»

«የሞተር ብረት ተሰባሪ ነው። በብርዱ ከበየዱት ይተረተራል። ስለዚህ ከሰል ላይ ጥደን እናግለዋለን፤ ጋሼ ስንጥቁን ይበይዱታል። ከዚያ ከነግለቱ አመድ ውስጥ እንቀብረዋለን፤ ከሰሉም እዚያው እየነደደ ይቆያል። መስኮቱን በእርጥብ ጆንያ እንጠቀጥቃለን፤ በሩን እንዘጋለን። ቀስ ብሎ እስከ ማግሥቱ መብረድ አለበት። ነፋስ ካገኘው ጧ ይላል፤ ድካማችን ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።»

«እስከ ማግሥቱ ማን ይከፍታል?»

«ማንም አይከፍትም። እንደ አራስ ቤት ነው። ጋሼ ብቻ ከአንድ ሰዓት በኋላ ገብተው የሰመጠውን አመድ ሞልተው ይወጣሉ።»

«ትናንትስ?»

«ስምንት ሰዓት ላይ ቀበርነው። እኔ ወደ ፊት ለፊቱ ግቢ ሄጄ መኪና ሥር ገባሁ። የብየዳው ክፍል በር ከዚያ አይታይም።»

«የማንኳኳቱን ድምፅ ሰምተሃል?»

ጀቤሳ አንገቱን ደፋ።

«ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል ሰማሁ። ብረት ሲበርድ ድምፅ አለው። በዚያ ላይ የተረገመች ናት እየተባለ... ሞተሯ መሰለችኝ። ጆሮዬን ይዤ መኪናው ሥር ተኛሁ።» ቀና ብሎ አያት። «ጋሼ ነበሩ፤ አይደል?»

ስንት ሰው ሰምቶ አንድም ሰው ያልተነሣለት ድምፅ ነበር። አሰጋሽ በመርማሪነት ዘመኗ ሬሳ አይታ አልቅሳ አታውቅም፤ አሁን ግን ዓይኗን ለመጥረግ ፊቷን አዞረች።

ሬሳውን ያገኘችው የሟቹ ልጅ እድላዊት ናት። አባቷ ቅዳሜ ማታ ሳሪስ አቦ ማሕሌት ስለሚቆሙ አለመምጣታቸው አላሳሰባትም።

«ዓርብ ዕለት ሞተሩን አጥበው ከጨረሱ በኋላ ዝም አሉ» አለች። «እራት አልበሉም። ‹አለሚቱ ዛሬም ባሏን ትጠብቃለች?› ብለው ጠየቁኝ። አዎ ስላቸው ‹አመዱ ሲገለጥ እጠራታለሁ› አሉ። ባለመኪናውንም ‹ይቺን ከየት አመጣሃት?› ብለውታል። እሱም ‹ከሐራጅ› አላቸው።»

ባለመኪናው አቶ ወንድዬ የሳሪስ ነጋዴ ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ጋቢ የለበሰ፣ ረጋ ያለ ሰው። ለለቅሶው ድንኳን ያስተከለው እሱ ነው፤ ሰው ሁሉ ይመርቀዋል።

«ትናንት እዚህ ነበሩ?» አለችው አሰጋሽ።

«ጠዋት ብቻ። ከዚያ ሳሪስ ነበርኩ።» በረጅሙ ተነፈሰ። «እግዜር ነፍሳቸውን ይማር። ለእኔስ ምን ቀረኝ? ያ ሁሉ ተለፍቶ ብረቱ እንደገና ተሰነጠቀ። እርግማን ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል!»

አሰጋሽ «እርግማንስ ነው» ብላ ሸኘችው። ቀጥላ አለሚቱን ጠራቻት።

«ባልሽ ምን ነበር ሥራው?»

«ቃልቤሳ? ታክሲ ነጂ። የገዛ መኪናው ነበረች፤ ሰማያዊ ፔጆ። ከእሱ ጋር አብራ ጠፋች። ሰኞ ዕለት የዚህችን የአቶ ወንድዬን ነጭ መኪና ክላክስ ስሰማ ሮጬ ወጣሁ። ሰው ሳቀብኝ። በየፔጆው ድምፅ እወጣለሁ፤ ለምዶብኛል።»

«የባልሽ መኪና ሞተር ተበላሽቶ ያውቃል?»

«በስድሳ ዘጠኝ የሲሊንደሩ ጎን ተሰንጥቆ ጋሽ ወልዴ በብሎን ሰፉት። ብሎኑ ከመዳብ መሠራት አለበት አሉ፤ መዳብ ደግሞ ጠፋ። የክንዴን አምባር አውልቄ ሰጠኋቸው። ሰባት ብሎን ወጣው።»

አሰጋሽ ከተቀመጠችበት ተነሣች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀቤሳን፣ አለሚቱን፣ እድላዊትንና አቶ ወንድዬን ወደ ብየዳው ክፍል አስገባቻቸው። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ። የጀቤሳን ካቴና አስፈታችና አካፋ ሰጠችው።

«አመዱን ግለጠው።»

ጀቤሳ ቆፈረ። ሞተሩ ወጣ። በአዲሱ ብየዳ ላይ የጣት ርዝመት ያለው ስንጥቅ ወርዶበታል። በሌላው ጎኑ ደግሞ፣ በመሮ የተፈለጡ ሰባት ቦታዎች ያብለጨልጫሉ።

«ስንጥቁን አያችሁት?» አለች አሰጋሽ። «ብረቱ ነፋስ መትቶታል ማለት ነው። ትናንት ገና ግሎ ሳለ አንድ ሰው ይህን በር ከፍቶ፣ አመዱን ጠርጎ፣ መሮ አሳርፎበታል፤ መልሶም ቀብሮታል። ጀቤሳ ቢሆን ኖሮ ይህን አያደርግም ነበር። ሞተሩን ዛሬ ሲቀዘቅዝ የሚያወጣው ራሱ ነው፤ በቀዝቃዛው መፍለጥ ይችል ነበር። እድላዊትም በዚህ ሥራ ያደገች ናት። የከፈተው የዚህን ቤት ሕግ በወሬ ብቻ የሚያውቅ፣ አመዱ ሳይገለጥ መቅደም የነበረበት ሰው ነው።» ወደ ወንድዬ ዞረች። «አቶ ወንድዬ፣ ብረቱ እንደገና መሰንጠቁን ጠዋት ነገሩኝ። ያን ጊዜ ሞተሩ አመድ ውስጥ ነበር። እኔ እንኳ አላየሁትም። በማን ዓይን አዩት?»

«ሦስቴ ተሰንጥቆብኛል፤ ገመትኩ።»

«ይሁን። ጋሽ ወልዴ ዓርብ ዕለት ሲያጥቡት የገዛ እጃቸውን ሥራ አገኙበት። በዚህ ጎን ሰባት የመዳብ ብሎን ነበር። የማን መኪና እንደሆነች ያን ጊዜ አወቁ፤ ከየት እንዳመጧትም ጠየቁዎት። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አመዱን ሊሞሉ ሲገቡ እርስዎ መቀርቀሪያውን ሳቡ። ለመግደል ሌላ ምንም አላስፈለገዎትም። ከሰሉ ከውስጥ ይነድዳል፣ መስኮቱ ተጠቅጥቋል፣ ጭሱ መውጫ የለውም፣ እስከ ማግሥቱ ሰው አይከፍትም። ጋሽ ወልዴ ሲያንኳኩም ሞተሩ ነው ተባለ። ማንኳኳቱ ሲያበቃ እርስዎ ከፍተው ገቡ፣ ብሎኖቹን ፈለጡ፣ በሩንም መልሰው ቀረቀሩ። የእርስዎን መቀርቀሪያ የእኛ ፍርሃት አጠበቀልዎት።»

እድላዊት አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

ወንድዬ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «የቱ ብሎን? ብረት ብቻ ነው የማየው።»

«ጀቤሳ፣ በውሃ መሄጃው ቀዳዳ ጣትህን ስደድና ከውስጥ ዳብሰው።»

ጀቤሳ ጣቱን ሰደደ። ቀስ እያለ ቆጠረ። «ሰባት ናቸው» አለ። ፖሊሱ ባትሪ አበራ። ከብረቱ ግድግዳ ውስጥ የመዳቡ ጫፎች ቀይ ሆነው ታዩ።

«እርስዎ የብሎኖቹን ራስ ብቻ ነው የፈለጡት፤ እግራቸው ውስጥ መቅረቱን አላወቁም» አለች አሰጋሽ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ቃልቤሳ የተወሰደው ከዚህች መኪና ጋር ነው። መኪናዋን ያስቀረ ሰውየውን ያውቃል።»

ወንድዬ አመዱ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የተናገረው ለራሱ ይመስል ነበር። «ያን ጊዜ የቀበሌ ጥበቃ ኃላፊ ነበርኩ። መኪናዋን ሰጡኝ፤ ቀለም ቀየርኩ። ሌላ የሚጠግናት ጠፋ እንጂ እዚህ አላመጣትም ነበር። ሽማግሌው እንደሰፉት አላውቅም።»

አለሚቱ ወደ እሱ ሄደች። ልትደበድበው መስሏቸው ሁሉም መንገድ ለቀቁላት። ፊት ለፊቱ ቁጭ አለች።

«ለምን አልልህም» አለችው። «የት ነው ያለው?»

«ከቱሉ ዲምቱ በታች... ድንጋይ የሚወጣበት ጉድጓድ ዳር።»

«ብቻውን?»

«አራት ናቸው።»

አለሚቱ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ወደ አሰጋሽ ዞረች።

«የሦስቱን ስም ይጠይቁልኝ። እነሱንም በር በሩን እያየ የሚጠብቅ ሰው ይኖራል።»

አሰጋሽ ብዕሯን አወጣች። ወንድዬ አንድ በአንድ ጠራቸው፤ እሷም ጻፈች። አለሚቱ ሦስተኛው ስም ተጽፎ እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ በዚያ ሁሉ ዓመት ያላደረገችውን አደረገች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፣ የወንድሟን የተፈታ እጅ ያዘች፣ የባሏን ስም እየጠራች አለቀሰች።