ሰማንያ ስድስት በመቶ

«እና ምን ትያለሽ? ልዋጠው ወይስ ልተወው?»

እህቷ ይህን የጠየቀቻት አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ አስገብታ፣ ሌላውን ባዶውን አንጠልጥላ፣ የክኒኑን እሽግ እንደ ማራገቢያ ፊቷ ላይ እያርገበገበች ነበር። ልጅቷ አፏ ውስጥ የነበረውን ዳቦ ለማላመጥ ጊዜ ወሰደች። ዳቦው ሰበብ ነበር። መልሱን አታውቀውም። ጥያቄውን ቤት ያመጣችው ግን ራሷ ነች።

ቤትም ሰፈርም «ቀለሜ» ነው የሚሏት፤ መጽሐፍ ከገለጠች ቤቱ ቢቃጠል አትሰማም። ስሙን ያወጣችላት ይህችው ታላቅ እህቷ ናት። እህቷ ፀጉር ሠሪ ናት፤ እጇ የተባረከ፣ አፏ የማያርፍ። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። ጠዋትና ማታ አንዲት ነጭ ክኒን እየዋጠች፣ ዓመታት ያለ ኮሽታ አልፈው ነበር። ከዚያ ክኒኑ ጠፋ። መጀመሪያ ከሰፈሩ መድኃኒት ቤት፣ ቀጥሎ ከዋናው መንገድ፣ ቀጥሎ ከሆስፒታሉ ደጃፍ። «በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል» ይባላል፤ የሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል፣ ክኒኑ አይመጣም። እህቷ የቀራትን ለሁለት እየሰበረች መዋጥ ጀመረች። ባለፈው ወር ሥራ ቦታ፣ መቀስ እንደያዘች፣ ደንበኛ ፊት ወደቀች። ማንም አልተጎዳም። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ግን «እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም፤ አንድ ጊዜ ከደገመሽ ግን መቀስ አላስይዝሽም» ብላታለች።

አሁን እጇ ላይ ያለውን እሽግ የሰጠቻት አንዲት ደንበኛ ናት። የሟች እናቷ የተረፈ መድኃኒት ነው። «ያው ለሚጥል ነው» አለቻት። ስሙ ግን ሌላ ነው።

«ሐኪምሽን ለምን አትጠይቂውም?» አለች ቀለሜ በመጨረሻ።

«ቀጠሮዬ ከሚመጣው ወር በኋላ ነዋ። ‹ከዚያ በፊት ከጣለሽ ድንገተኛ ክፍል ነይ› አሉኝ። እስቲ መጀመሪያ ልውደቅላቸው።» ሁለተኛውን ጫማ አጠለቀች። «መድኃኒት ቤቷ ‹እኔ እንጃ›፣ ካርድ ክፍሉ ‹እኔ እንጃ›። ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል ቁጥር ይዞ የመጣው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ልጅቷን አታስጨንቂያት» አለች እናታቸው፣ የሥራ ልብሷን እየተኮሰች።

«እንዴት አላስጨንቃት እማ? የቤቱ ፕሮፌሰር እሷ አይደለች? ደግሞስ የቸገረው እርጉዝ ያገባል ሲባል አልሰማሽም? እኔ እንኳን ክኒን ነው ያልኩት።»

እናታቸው ሳትወድ ሳቀች። ቀለሜ አልሳቀችም።

«ቲቸርን ልጠይቀው» አለች። «እስከዚያ አትዋጪው። እሺ እትዬ?»

«ዛሬ ሙሽራ አለችብኝ፣ ከነሚዜዎቿ። ሙሽራ ላይ ብወድቅ በቃ፣ አለቀልኝ።» እሽጉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «እስከ ምሳ ሰዓት እጠብቅሻለሁ። ከዚያ ምሳዬን በልቼ እውጠዋለሁ።»

ነገሩ የተጀመረው በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ነው። የኬሚስትሪ መምህሩ፣ «ሞል» ስለሚባለው የአተም መቁጠሪያ ሲያስረዳ ላብ ስለሚያጠምቀው ተማሪው «ቲቸር ሞል» ይለዋል፣ አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ላይ ሞለኪውል መሳያ ፕሮግራም ጫነላቸው። ፕሮግራሙ ነፃ ነው። ነፃ ብቻም አይደለም፣ ውስጡም ክፍት ነው፤ የተጻፈበትን ኮድ የፈለገ ገልጦ ያነበዋል፣ የቻለ ያርመዋል። ቀለሜ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ አላመነችም። በማታውቀው አገር የተቀመጡ የማታውቃቸው ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው የሠሩትን እሷ አንድ ፊደሉ በተነቀለ ኪቦርድ ትጠቀምበታለች።

ስድስት ማዕዘን ያለው ቀለበት ትስያለሽ። ከማዕዘኑ ክንድ ታወጫለሽ። ካርቦኑን መጻፍ አያስፈልግም፤ መስመር በታጠፈበት ሁሉ አለ። ስትጨርሺ አንድ ቁልፍ ትጫኛለሽ፤ ጠፍጣፋው ስዕል ያብጥና ይነሳል፣ የተደበቁት ሃይድሮጅኖች ብቅ ብቅ ይላሉ፣ ጎጆዋ ላይ እንደምትደላደል ዶሮ ወዲያና ወዲህ ተነቃንቆ ቦታውን ይይዛል። ከዚያ በማውሱ እንደ ልብሽ ታዞሪዋለሽ።

ቀለሜ በእህቷ ክኒን ካርቶን ውስጥ የሚታጠፈውን ወረቀት ዘርግታ፣ የመድኃኒቱን ቅርጽ ከዚያ አይታ ሳለችው። ያ በከተማው አንድም መድኃኒት ቤት የሌለው ክኒን አንድም አተም ሳይጎድለው ስክሪኑ ላይ መጣ። አዞረችው። አቀረበችው። አራቀችው። ከዚያ ውስጥ አንዲት ፍሬ ማውጣት ግን አይቻልም።

ደንበኛዋ የሰጠችውን መድኃኒት ደግሞ መምህሩ ካወረደው የመድኃኒቶች ፋይል ውስጥ በስሙ አገኘችው። ፕሮግራሙ ሁለት ሞለኪውል የሚያወዳድርበት ቦታ አለው፤ ከዜሮ እስከ አንድ ቁጥር ይሰጣል። ዜሮ ነጥብ ሰማንያ ስድስት ሰጣት። ልቧ ዘለለ። ያን ቀን እራት ላይ፣ እህቷ ሳህኗን ገፍታ ጣሪያ ጣሪያ ስታይ፣ ቀለሜ አላስቻላትም። «ሰማንያ ስድስት በመቶ አንድ ናቸው» አለች። የእህቷ ፊት ሲበራ አየች። ያ ብርሃን ደስ አላት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

የኮምፒውተር ክፍሉ የተከፈተው ከምሳ በፊት ባለው ክፍለ ጊዜ ነው። የክፍል ጓደኛዋ ሬዲዮ ተከትላት ገባች። ሬዲዮ የሚሏት የሰማችውን ሳታሰራጭ ስለማታድር ነው፤ «ቀለሜ መድኃኒት ልታወጣ ነው» የሚለው ወሬ ሦስት ክፍል ደርሷል።

«ቲቸር፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ» አለች ቀለሜ። «ሰማንያ ስድስት በመቶ የሚመሳሰሉ ሁለት መድኃኒቶች ይተካካሉ?»

መምህሩ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። «አንድ ካርቦን ሳዪ። አራት የተለያየ ነገር አንጠልጥይበት።»

ሳለች።

«ቅጂውን አጠገቡ አድርጊ። አሁን በቅጂው ላይ ሽብልቋን ገልብጪያት።»

በፕሮግራሙ ላይ ወደ አንቺ የሚመጣ ክንድ በጥቁር ሽብልቅ ይሳላል፣ ወደ ኋላ የሚሄደው በተቆራረጠ መስመር። ቀለሜ ሽብልቁን ወደ ቁርጥራጭ መስመር ለወጠችው።

«አወዳድሪያቸው።»

ቁጥሩ መጣ። አንድ። ሙሉ አንድ።

«ያው ናቸው ማለት ነው?» አለች ሬዲዮ ከኋላ።

«እስቲ አንዱን በአንዱ ላይ ግጠሚው» አለ መምህሩ።

ቀለሜ ሁለቱንም አስነሳቻቸውና ማዞር ጀመረች። በጎን ሞከረች፣ ገለበጠች፣ በጀርባ አመጣች። ሁለቱ ክንዶች ሲገጥሙ ሁለቱ እምቢ ይላሉ። እነዚያን ስታስማማ እነዚህ ያፈነግጣሉ። ሬዲዮ «እኔ ልሞክር፣ አንቺ አትችይበትም» ብላ ማውሱን ነጠቀቻት፤ ጥቂት ታግላ መለሰችላት።

«የግራና የቀኝ ጫማ ናቸው» አለች ቀለሜ ቀስ ብላ።

«ሰውነት ደግሞ እግር ነው» አለ መምህሩ። « አንዱ ይገባል፣ አንዱ አይገባም። ገብቶ የሚጎዳም ይኖራል። ፕሮግራሙ ግን ‹ይህንንም ተመልከት› ካልተባለ ልዩነቱን አይቆጥረውም። እሱ እያንዳንዱን አተም ‹ጎረቤቶችህ እነማን ናቸው?› ይልና ለሞለኪውሉ አሻራ ያወጣለታል። ከዚያ አሻራን ከአሻራ ያስተያያል። ያገኘሽው ቁጥር እሱ ነው።»

«ስለዚህ ሰማንያ ስድስቱ ውሸት ነው?»

«ውሸት አይደለም። ስዕሎቹ ይመሳሰላሉ። ሰው ሲውጠው ምን እንደሚሆን አልጠየቅሽውም፤ ብትጠይቂውም አያውቅም።» ከዚያ ፈገግ አለ። «ለሳይንስ ክለቡ ኤግዚቢሽን ነው አይደል? ጥሩ ርዕስ ነው።»

«ለእህቴ ነው» አለች ቀለሜ። «ዛሬ ምሳ ላይ ልትውጠው ነው።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። ሁሉን ነገረችው። እሱም ስልኩን አውጥቶ አብራው የተማረች ፋርማሲስት ጋ ደወለ። ቀለሜ ከንፈሩን እያየች ቆመች። «እሺ... እሺ... ገባኝ» ብሎ ዘጋው።

«‹ሳላያት በስልክ አዎም አይሆንምም አልልም፤ ሐኪሟ ይወስን› አለች።»

«ሐኪሟን እስከ ቀጠሮዋ አታገኘውም እኮ ቲቸር። አንተስ ምን ትላለህ?»

መምህሩ ወለሉን አየ። ሞልን ሲያስረዳ እንደሚያልበው ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። «እኔ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፣ ቀለሜ። አላውቅም።»

የምሳ ደወል ሲደወል ሁለቱ ልጆች ወደ ግቢው በር ሮጡ። የተማሪ ስልክ ጠዋት የሚሰበሰበው ጥበቃው ክፍል ነው፤ የምሳ ሰዓት ላይ ይሰጣል። ቀለሜ ስልኳን ተቀብላ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። ደንበኛ ወንበር ላይ ካለች የሠራተኞቹ ስልክ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቆየው፤ የፀጉር ቤቱ ባለቤት ሕግ ነው። እህቷ ስልኳን የምታወጣው ምሳዋን ስትከፍት ነው።

«ጋሼ፣ እባክዎ ልውጣ» አለች ጥበቃውን። «እህቴ ጋ ደርሼ እመለሳለሁ።»

«የርዕሰ መምህሩ ወረቀት?»

«ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«እንግዲህ እኔም በር ላይ ነኝ» አሉ ሽማግሌው ጥበቃ። ክፉ አልነበሩም፤ ቁልፉን ግን ከወገባቸው አላወጡም።

ሬዲዮ ክንዷን ጎተተቻት። «ምን ያስጨንቅሻል? ‹ቲቸር መርዝ ነው ብሏል› ብለሽ ጻፊላት። አለቀ። ወዲያው ነው የምትጥለው።»

«እንደዛ አላለም።»

«አታካብጂ እንግዲህ። እንድትተወው ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም?»

ቀለሜ ጻፈችው። «ቲቸር መርዝ ነው ብሏል።» አነበበችው። ይሠራል። እህቷን ታውቃታለች፤ እሽጉን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ወርውራ እጇን ትታጠባለች። ደግሞስ ክኒኑ ባይጎዳትስ? ሊረዳት የሚችል ቢሆንስ፣ ያን ጥላ ሙሽራዋ ላይ ብትወድቅስ? ቀለሜ ይህን ሁሉ አታውቅም። በእራቱ ቀንም አታውቅም ነበር፤ የምታውቅ መስላ ተናገረች እንጂ። አሁንም ልትደግመው ነው። አውራ ጣቷ ማጥፊያው ላይ ቆየ፤ ከዚያ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አጠፋቻቸው።

እንደገና ጻፈች፦

«እትዬ፣ ቁጥሩ የስዕል ነው። ስዕሎቹ ይመሳሰላሉ እንጂ ክኒኑ ለአንቺ ይሆናል ማለት አይደለም። ይህን ሳላውቅ ነው የነገርኩሽ። ይጉዳሽ ይርዳሽ አላውቅም፣ ቲቸርም አያውቅም። እባክሽ አትዋጪው። በምትኩ ምን እንደምታደርጊ ግን አላውቅም።»

ሬዲዮ በትከሻዋ በኩል አነበበች። «የመጨረሻዋን አጥፊያት። አንጀት ትበላለች።»

ቀለሜ ሳታጠፋት ላከችው።

ከመልእክቱ ጥግ አንድ ምልክት ወጣ፤ ተልኳል። ቆይቶ ሁለተኛው። ግቢው በሳህንና በማንኪያ ድምፅ ተሞልቶ ነበር፤ ትናንሾቹ ልጆች ኳስ ላይ ይጯጯሃሉ። ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ። አንብባዋለች። ከስሟ ሥር «እየጻፈች ነው» የሚለው ብቅ አለ። ጠፋ። እንደገና ብቅ አለና ጠፋ። ከዚያ ምንም።

ደወለች። ጠራና ተቋረጠ።

«ሙሽራዋ ጋ ተመልሳ ይሆናል» አለች ሬዲዮ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

የክፍል መግቢያው ደወል ተደወለ። ተማሪው በየአቅጣጫው መሮጥ ጀመረ፤ ሬዲዮም ጥቂት ዞር ዞር እያለች ካየቻት በኋላ ሄደች። ጥበቃው ስልኩን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ።

«አልሰጥም ጋሼ» አለች ቀለሜ።

«ክፍል አትገቢም?»

«አልገባም። እዚህ ነኝ።»

ሽማግሌው ፊቷን ትንሽ አዩ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ወደ ጥግ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላት። ቀለሜ ተቀመጠችና ስልኩን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ስክሪኑ በጠፋ ቁጥር ነካ እያደረገች ታበራዋለች። መልእክቷ ተነቧል፤ ከሥሩ ያለው ቦታ ባዶ ነው። የከሰዓቱ ትምህርት አልቆ፣ በሩ ተከፍቶ ተማሪው እየጎረፈ ሲወጣም ከሥሩ ያለው ቦታ ባዶ ነበር።